ከግራና የመጣው አዲስ ዱላ

ባለፈው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ታናሹ ልጄ ስልኩን ይዞ አጠገቤ ተቀመጠና «አባባ፣ ይችን ይመልከቱልኝ» አለኝ። የሚያሳየኝ ጎልፍ የሚባለውን የፈረንጅ ጨዋታ ነበር። ሰውዬው ኳሷን ወደ ጉድጓዷ ቀስ አድርጎ የሚገፋባት አጭር ዱላ አለችው፤ አዲስ ናት አሉ። ከመምታቱ በፊት አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ከጫፍ እስከ ጫፍ አያት። ገለበጣት፤ አንገቷን በጥፍሩ ኳ ኳ አደረገ፤ ደግሞ አያት። መትቶ ሲስት ዱላዋን ገላመጣት።

ልጄ ሳቀ፤ እኔ አልሳቅሁም። ያንን አስተያየት አውቀዋለሁ። ሰው አዲስ ዱላ ይዞ ሲስት በእጁ አይፈርድም፤ በዱላው ይፈርዳል። ክፋቱ ሲጸናበት ደግሞ ዱላውን በሰጠው ሰው ይፈርዳል። እኔ እዚያ ድረስ ሄጃለሁ።

ልጆቼ ውሸት እንደማልወድ ያውቃሉ። ትልቁ ልጄ አንድ ጊዜ የፋኖስ ብርጭቆ ሰብሮ በድመቷ ቢያላክክ ሦስት ቀን ዘጋሁት። ስቀጣው ግን እኔ ራሴ ከእሱ የባሰ ነገር ሆዴ ውስጥ ቀብሬ ነበር። እነሆ ልናገረው።

ጊዜው የጃንሆይ መንግሥት ሊያበቃ ጥቂት ዓመታት ሲቀሩት ነው። ሃያ ዓመት ቢሆነኝ ነው፤ በቤታችን የልደት ቀን የሚጽፍ ሰው አልነበረም። ወልድያ አንድ ጋራዥ ውስጥ እሠራ ነበር። ማንበብ የተማርኩትም እዚያው፣ የመኪና ዕቃ ተጠቅልሎ ከሚመጣበት ጋዜጣ ላይ ነው። ኅዳር ሲጋመስ ግን እጄ ወልድያ ይቀርና ልቤ መርሳ፣ የተወለድኩበት ሰፈር ይወርዳል። ማሽላው ታጭዶ፣ አገዳው ተከምሮ፣ ሜዳው ባዶ ሲሆን የገና ጨዋታ ልምምድ ይጀመራላ። ላይ ሰፈርና ታች ሰፈር እንጋጠማለን። እኛ ታቾች ሁለት ዓመት ተከታትለን ተሸንፈን ነበር። የላይ ሰፈሩ አለቃ ይመር የሚባል ረጅም ጎረምሳ ነው፤ ባየኝ ቁጥር ከመንገድ ማዶ ይጮኻል፦ «ተገኘ! ዘንድሮስ እሩሯን ታያታለህ፣ ወይስ እንዳምናው ስታልፍ ድምጿን ትሰማለህ?» እሩር የምንላት ከወይራ ሥር የተጠረበችውን ኳስ ነው።

የገና ዱላ ከሱቅ አይገዛም። ጫፉ በተፈጥሮው የቆለመመ ቅርንጫፍ ተፈልጎ ይቆረጣል፤ ተልጦ ትኩስ አመድ ውስጥ ይቀበራል፤ እንደሞቀ በገመድ ይታሰራል፤ ከዚያ ቅቤ እየጠጣ ጢስ ላይ ይሰነብታል። በወረዳችን በሀብሩ ይህን እንደ ግራናው ሰይድ የሚያውቅበት አልነበረም። ሰይድ ዓመቱን ሙሉ ሞፈርና ድግር ይጠርባል፤ ገና ሲቃረብ ዱላ ይሠራል። እስላም ነውና በዓሉ የእሱ አይደለም ትሉ ይሆናል። በእኛ አገር ይህን የሚቆጥር አልነበረም፤ ይመርም እኮ እስላም ነበር። ከሰይድ ጋር በአንድ ወንዝ ዋኝተን፣ በአንድ ቁና ቆሎ በልተን ነው ያደግነው።

በዚያ ዓመት ዱላ ላሠራ ግራና ወረድኩ። ገና ከሩቅ ሲያየኝ መጥረቢያውን አስቀመጠ።

«አንተ ተጌ! ናፍጣ ናፍጣ ትሸታለህ። ዱላዬን ሳትታጠብ እንዳትነካብኝ!»

ከጣራው ሥር አንድ የወይራ ዱላ አወረደ። የንብ ሰፈፍ መስሎ ያበራል። ዋጋውን ብጠይቀው ተቆጣ።

«ወላሂ ዳግመኛ እንዲህ ካልከኝ በዚሁ ዱላ ነው የምልህ! ከክረምት ጀምሮ ለአንተ ብዬ የያዝኩት ነው። ይልቅ ቢላዋህን አምጣ፣ ልሳልልህ።»

ቢላዋዬን ሁልጊዜ የሚስልልኝ እሱ ነበር። ስለቷ መሐል ላይ አንዲት ጥርስ ጎድሏታል። «ይችን ወላቃ እስካሁን አልጣልካትም?» እያለ በድንጋዩ ላይ ወዲያ ወዲህ አመላለሳት። ቀሪቦ አጠጥቶ፣ ሁለት ብርቱካን ኪሴ ከትቶ ሸኘኝ። ዱላዬን በትከሻዬ ተሸክሜ እየዘፈንኩ ነው የሄድኩት።

ዘፈኑ መርሳ ሲደርስ አለቀ። የቡድናችን አለቃ አያ ደምሴ ዱላውን ተቀብለው መዘኑት።

«የማን እጅ ነው?»

«የሰይድ።»

«በስንት ሰጠህ?»

«በነፃ ነው፣ አያ።»

«በነፃ?» ዱላውን መለሱልኝ። «በጥቅምት የሰይድን እህት ማን እንዳገባት ረሳኸው? ይመር አይደለም? አማች ለአማቹ ነው፣ ልጄ። እኔ ምንም አላልኩም።»

«እኔ ምንም አላልኩም» የሚል ሰው ሁሉን ብሏል። ልጆቼ ሆይ፣ ከእንዲህ ዓይነት ሰው ተጠንቀቁ። ከእሱ ይልቅ ግን ቃሉን ተቀብሎ ከሚያሳድገው ከራሳችሁ ልብ ተጠንቀቁ።

ዱላውን ይዤ ወልድያ ተመለስኩ። ሥራ ሲቀዘቅዝ አንድ ዓይኔን ጨፍኜ አየዋለሁ። ጎማ ላይ እመታበትና እንደ ሞተር ድምፅ ጆሮዬን ቀስሬ አዳምጠዋለሁ። ስመታ ቀና ከሄደልኝ «እያባበለኝ ነው» እላለሁ፤ ከሳትኩ «ይኸው!» እላለሁ። ቅቤው መብዛቱ ራሱ አሳሰበኝ፤ ምን ሊሸፍን ነው? ከአንገቱ ዝቅ ብሎ ደግሞ ባቄላ የምታህል ጠቆር ያለች ጉጥ አገኘሁ። ስንጥቅ ቢሆንስ? ሰይድ ስንጥቁን በሰም ደፍኖ፣ ጥላሸት ቀብቶት ቢሆንስ?

ገና አንድ ሳምንት ሲቀረው አልቻልኩም። ወላቃዋን ቢላዋ አውጥቼ ጉጧን ቆረጥኳት። ነጭ እንጨት። ትንሽ ጠለቅ አደረግኩ። ነጭ እንጨት። «እንግዲያስ ከዚህ በታች ነው» ብዬ ሌላ ጨመርኩ። ነጭ፣ ንጹሕ፣ ጤነኛ ወይራ ነበር። ምንም ያልነበረበት አንገት አሁን ግማሽ ጣት የሚያስገባ ቁስል ወጣበት።

አፈርኩ። ያደረግኩትን ስሙ፦ ጧፍ አቀለጥኩ፤ ከጭስ ማውጫ በጠረግኩት ጥላሸት ለወስኩት፤ ቁስሉን ደፍኜ ቅቤ አሸሁበት። ሰው ደፈነብኝ ብዬ ስፈልገው የነበረውን ሰም በገዛ እጄ ሞላሁት።

የገና ቀን መርሳ ሜዳ በሰው ከአፍ እስከ ገደፉ ሞላ። ሰይድም እህቱን ሊጠይቅ መጥቶ ከዳር ቆሟል። ስንጋፋ ውለን ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ አንድ ለአንድ ነበርን። እሩሯ ከትርምሱ አፈትልካ እፊቴ መጣች፤ በእኔና እሩሯ ስትሻገረው ግብ በሚሆነው ወሰን መካከል አንድም ሰው የለም። የቻልኩትን ያህል መታሁ። ዱላው ከአንገቱ ቀጭ አለና ቆልማማው ራስ ወሰኑን ተሻግሮ በረረ። እሩሯ እግሬ ሥር ቀረች።

ይመር ጉልበቱን ይዞ ሳቀ። «ተገኘ! እሩሯ እኮ እዚህ ናት! አንተ የላክኸው ዱላውን ነው!» እያለ መትቶ ወሰዳት። ተሸነፍን።

አያ ደምሴ ግን የተሰበረውን ራስ አንስተው ነበር። «ሰም!» ብለው ጮኹ። «ኑ ተመልከቱ! አማቹ እንዲያሸንፍለት ሰም ሞልቶ ሰጠው!»

ሜዳው ሁሉ ወደ ሰይድ ዞረ። «ከሀዲ!» ያለ አለ፤ ዱላ ያነሳም አለ። ሰይድ ሳይሮጥ መጣና ስባሪውን ከእጃቸው ተቀበለ። ሰሙን በአውራ ጣቱ ጥፍር ፈቅፍቆ አወጣ፤ ቁርጡን ዳሰሰው። ቀና ብሎ አየኝ። እኔ እግሬን አየሁ። አንዲት ቃል ብናገር ይድን ነበር።

«ዱላው የእኔ ነው» አለ። ስባሪውን በብብቱ ይዞ የግራናን መንገድ ያዘ።

ከዚያ ወዲያ ከሰይድ የገና ዱላ የወሰደ የለም። ሞፈር እንኳ የሚያሠሩት ሰዎች አንገቱን አንኳኩተው፣ አሽትተው ይወስዱ ጀመር። ይመርም ድሉ በሐሜት ተበላሽቶበት ከመንገድ ማዶ መጮኹን ተወ።

በሦስተኛው ዓመት፣ በገበያ ቀን ግራና ሄድኩ። ሰይድ ድግር እየጠረበ ነበር። ቆሜ ሁሉንም ነገርኩት።

«አውቃለሁ» አለኝ፣ መጥረቢያውን ሳያቆም። «ቁርጡ መሐል ላይ አንዲት ያልተቆረጠች ክር ቀርታ ነበር። ወላቃዋ ናት። የሳልኳት እኔ አይደለሁም እንዴ፣ ተጌ?»

«ታዲያ ለምን አልተናገርክም?»

«ሰሙ እጄ ላይ ተይዞ፣ እኔን ማን ያምነኛል? አንተ እስክትናገር ጠበቅሁ።»

«ይኸው ተናገርኩ።»

ያን ጊዜ መጥረቢያውን አቆመ። «ለእኔ ነው የነገርከኝ። እኔ እኮ አውቀዋለሁ። የማያውቀው እሱ ነው» አለና በመጥረቢያው ጫፍ ወደ ገበያው አመለከተኝ።

ልናገር ብዬ ሄድኩ፤ ይህን እውነት ነው የምላችሁ። በፍየል ተራው፣ በጨው ተራው አልፌ በርበሬ ተራ ስደርስ አያ ደምሴ አዩኝ። «ተገኘ! ምን ልትገዛ መጣህ?» አሉኝ።

«በርበሬ» አልኩ። በርበሬ ገዝቼ ተመለስኩ።

ዓመት ሳይሞላ አብዮቱ መጣ፤ ሰው ሁሉ የየራሱን ጭንቅ ይዞ ተበተነ። አያ ደምሴ ሞቱ። ሰይድም አረፈ፤ ቀብሩ ላይ ቆሜ አፈር መልሻለሁ፤ ያን ቀንም አልተናገርኩም። ልጁ ዛሬም ግራና ይጠርባል። ባለፈው ዓመት አንድ ሽማግሌ የእሱን ሞፈር አንስቶ አንገቱን ሲያንኳኳ በዓይኔ አየሁ። ለምን እንደሚያንኳኳ እሱ ራሱ የሚያውቅ አይመስለኝም።

ለታናሹ ልጄ እሑድ ዕለት ይህን ስነግረው ስልኩን አጠፋ። «ወንድሜን ለፋኖሱ ሦስት ቀን ነበር የዘጉት፣ አይደል?» አለኝ። ብዕር አምጣልኝ አልኩት።

በመጪው የገበያ ቀን ግራና እሄዳለሁ። ጉልበቴ ቢከዳኝ ይህ ወረቀት ይነበብልኝ፦ ቁርጡ የእኔ ነበር። ሰሙም የእኔ ነበር። የሰይድ ዱላ ጤነኛ ነበር።