በባንዲራው ፋንታ የተሰቀለው ጆንያ

በቀደም ጎንደር ከአንድ ሻይ ቤት ተቀምጬ፣ ሁለት ወጣቶች ስለ ባንዲራ ሲሟገቱ ሰማሁ። አንደኛው፣ ሽንፋ በረሃ ውስጥ አርማ የሌለውን ባንዲራ አላወርድም ብሎ ስለሞተ ጀግና ይተርካል። ሌላው ደግሞ ሰውየው ሕግ አፍራሽ ነበር እያለ ይመልሳል። ነገሩ ሲሆን ሁለቱም ገና ጡት አልጣሉም ነበር። እኔ ግን ሟቹን አውቀዋለሁ። ሞላ ይባላል፤ ባንዲራ ሰቅሎም አውርዶም አያውቅም።

ያን ጊዜ ትምህርቴን ጨርሼ ሥራ አጥቼ ስለነበር፣ አንድ የጎንደር ባለሀብት ሽንፋ አጠገብ ካለው የሰሊጥ እርሻው ወስዶ የመጋዘን ቁልፍ ያዥ አደረገኝ። ጥቅምት ነው። ሰሊጥ በዚያ ወር አይታገሥም፤ አጫጁ ትንሽ ከዘገየ ራሱን ከፍቶ ፍሬውን መሬት ላይ ያፈሰዋል። አገሩ ሜዳ ሲሆን፣ ከሰሊጡ ወዲያ ከሰው ቁመት የሚበልጥ ማሽላ ቆሟል። ከውስጡ የገባ ሰው የሚያየው ሰማይ ብቻ ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ ካምፕ ረጅም እንጨት ተክሎ የየራሱን ጨርቅ ይሰቅላል፤ ሠራተኛው ያን እያየ ወደ ውሃውና ወደ ጥላው ይመለሳል። የጎረቤታችን ምልክት ነጭ ጆንያ ነበር። የኛ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ፤ ካቦአችን ባሻ ተገኘ ከወታደርነት ዘመናቸው ያተረፉት ጨርቅ።

ባሻ አዲስ ለመጣ ሠራተኛ ሁሉ አንድ ምክር ነበራቸው፤ ባንዲራህን ፈልግ፣ ከሌላ ምልክት ሥር እንዳትጠጋ። እውነት ነበራቸው። በአጨዳ ወቅት ከሰው ካምፕ የተገኘ ሠራተኛ ከድቶ እንደመጣ ስለሚቆጠር፣ ጥበቃው የሚቀበለው በዱላ ነው።

ሞላ ከወሎ የመጣ፣ ቆላን ያን ዓመት ገና ያየ ልጅ ነበር። ሠርጉ ለጥር ተቀጥሯል። የማሽላውን እንጀራ እያነሣ፣ «ባሻ፣ ይኼን ይበሉታል ወይስ አህያ ይጭኑበታል?» ይል ነበር። ባሻም፣ «አንተን ልጭንበት ነው» ይሉታል።

የሰንደቅ ዓላማ ቀን ሲቃረብ፣ አንድ ጧት ከወረዳ ወጣት ሹም በሞተር ብስክሌት መጣ። ሠራተኛው አጨዳ ላይ ነበር። ካርካዴ ቀረበለት፤ ገና ሳይቀምሰው ቀና ብሎ አየ።

«ባሻ፣ አርማ የለውም። ያውርዱት።»

«ልጄ፣ የሰቀልሁት ሰው እንዲመለስበት ነው።»

«ለመመለሻማ ጆንያ ይበቃል።»

«ጆንያ የጎረቤት ነው» አሉ ባሻ።

ለአጨዳው ከካምፑ የሰነበተው ባለሀብት ፈሪ ሰው ነበር፤ መሬቱ በሊዝ ነው። ባለ ኮከቡን ከጎንደር አስመጣለሁ፣ እስከዚያው ጆንያ ይሰቀል ብሎ ጨረሰው። ጨርቁ ወረደ፤ ጆንያው ወጣ። ክርክሩ ግን አልወረደም። ሹሙ ኮከቡ የብሔሮች እኩልነት ነው ይላል፤ የትራክተሩ ሾፌር ቀይ የአባቶች ደም ነው ይላል፤ እኔም መጽሐፍ ያነበብሁ መሆኔን ላሳይ ብዬ አንበሳው መቼ ገብቶ መቼ እንደወጣ አስረዳለሁ። ባሻ ብቻ ወደ ማሽላው ያያሉ። ትርጉም እንደዚያ ቀን በዝቶ አላውቅም።

እኩለ ቀን ላይ ሞላን አጨዳው ላይ ወባ አንቀጠቀጠው። ጓደኞቹ፣ ሂድ ካምፕ ተኛ ብለው ብቻውን ላኩት። መንገዱን የለመዱ ነበሩና ማታ ሲመለሱ፣ የት ተኝቷል ብለው ጠየቁን።

ያገኘነው በማግሥቱ ነው፤ ከአንዲት ኩርኩራ ዛፍ ሥር ተጠቅልሎ፣ ከንፈሩ ተሰነጣጥቆ። ባሻ ዱካውን ወደ ኋላ ተከተሉ። ከካምፓችን ዳር፣ ማሽላው ከሚያልቅበት ድረስ መጥቶ ነበር። እዚያ ቆሟል፤ ነጩን ጆንያ አይቶ፣ ከጎረቤት ካምፕ የደረሰ መስሎት ተመልሷል። ከዚያ ባንዲራውን ፍለጋ ወደ በረሃው ሄደ። እኛ ጥላ ሥር ስለ ቀለሞቹ እየተሟገትን ነበር።

ለመገነዣ የተገኘው ጨርቅ ጆንያ ብቻ ነበር። ባሻ፣ «በጆንያስ አልቀብረውም» አሉና ከሣጥናቸው ባንዲራውን አወጡ። ሽንፋ ቤተ ክርስቲያን የቀበርነው በሱ ገንዘን ነው። ጀግናው የተወለደው እንግዲህ ከዚያች ጨርቅ ይመስለኛል። ባለ ኮከቡ ከጎንደር ሲደርስ ሰሊጡ ተጭኖ ካምፑ ፈርሶ ነበር፤ ባለሀብቱ የጭነት መኪናው ግንባር ላይ አሰረው።

ይህን ሁሉ ለወጣቶቹ ነገርኋቸው።  ስጨርስ የመጀመሪያው ፊቱ በራ፤ አየህ፣ ልሙጡ ባይወርድ ኖሮ ይተርፍ ነበር አለ። ሁለተኛውም አልተሸነፈም፤ ቀድሞውኑ ባለ አርማው ቢሰቀል ኖሮ ማን ያወርደው ነበር ብሎ መለሰ። እንደገና ተያያዙት።

ባንዲራ ትርጉሙ ይለዋወጣል ይባላል። ይለዋወጥ። እኔ ያየሁት ባንዲራ አንድ ትርጉም ነበረው፤ ውሃ እዚህ አለ ይል ነበር። ያን ያጠፉት፣ የተሻለ ትርጉም እንስጠው የሚሉ ሰዎች ናቸው።

ስወጣ ክርክሩ ደርቶ ነበር። የሟቹን ስም አልነገርኋቸውም፤ ሁለቱም አልጠየቁኝም።