ለማይል ብዬ የነዳኋት መኪና

ባለቤቴ የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ነው። እኔ ደግሞ በዚያን ጊዜ መንጃ ፈቃድ ካወጣሁ ሁለት ዓመት ቢሞላኝም፣ ከፈተናው ቀን ወዲህ መሪ ጨብጬ አላውቅም ነበር። መኪና አልነበረንም፤ ቢኖረንም የምነዳ አይመስለኝም። የለንደን መንገድ ያስፈራኛል። ፈታኙ በሦስተኛው ሙከራዬ "አልፈሻል" ሲለኝ፣ ከደስታው ይልቅ የተሰማኝ "ተመስገን፣ ከእንግዲህ ማንም አያስነዳኝም" የሚል እፎይታ ነበር።

የምንኖረው ስቶክዌል ነው፤ አሳንሰሩ ሁልጊዜ በሚበላሽ ሕንጻ አራተኛ ፎቅ ላይ። ባለቤቴ አገር ጥሎ የወጣው ከዘጠና ሰባቱ ምርጫ በኋላ፣ አገሩ በታመሰበት ሰሞን፣ ገና ተማሪ ሳለ ነው። ከዚያ ወዲህ እናቱን አላያቸውም። ወረቀቱ እስኪስተካከል ዓመታት ፈጀ። ፓስፖርቱ በእጁ የገባ ቀን በነጋታው ትኬት የሚቆርጥ መስሎኝ ነበር። እሱ ግን ጭራሽ ስለ መሄድ ማውራት ተወ። እናቱ በስልክ "መቼ ነው የምትመጣው?" ሲሉት "በቅርቡ፣ እማዬ" ይልና ወሬውን ወደ ዝናብና ወደ ጎረቤት ይወስደዋል። እኔም ምን እንደሆነ ልጠይቀው እየፈለግሁ፣ ፊቱን ሳየው እተወዋለሁ።

እኔ ለወንድሜ ሠርግና በሌላም ጊዜ አዲስ አበባ ተመላልሼ ስለነበር፣ በአየር መንገዱ ካርዴ ላይ ማይል ተጠራቅሞልኛል። ማይል ማለት በበረሩ ቁጥር የሚቆጠር ነጥብ ነው፤ ሲሞላ ትኬት ይሆናል። ለአንድ ሰው ደርሶ መልስ ጥቂት ነበር የቀረኝ። ያ ትኬት ለእሱ እንዲሆን በልቤ ከወሰንኩ ቆይቻለሁ። ትኬቱ ከነስሙ ታትሞ ፊቱ ሲቀመጥ እምቢ አይልም ብዬ ነው።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ኢሜይሌን ቼክ ሳደርግ ማስታወቂያ አየሁ። አንድ አዲስ ሞዴል መኪና ቴስት ድራይቭ ለሚያደርግ አባል ሁሉ ማይል እንሰጣለን ይላል። የመግዛት ግዴታ የለም፤ መሸጫው ድረስ ሄዶ፣ ነድቶ መመለስ ብቻ። ጮክ ብዬ አነበብኩለት። ከሌሊት ፈረቃ ገብቶ፣ ጃኬቱን ሳያወልቅ ዳቦ በማርማላታ እየበላ ነበር።

"መኪና አስነድተው ማይል ይሰጣሉ?" አለ። "እኔ ሌሊቱን ሙሉ ስነዳ የሚሰጠኝ ስድብ ብቻ ነው።"

"እንግዲያው አንተ ንዳልኛ።"

"ካርዱ በማን ስም ነው?"

"በእኔ።"

"መንጃ ፈቃድስ የለሽም?"

ኢሜይሉን ዘጋሁት። ዳቦውን አስቀምጦ አየኝና፣ "እኔ ከኋላሽ እቀመጣለሁ። አንድም ቃል አልናገርም" አለኝ።

መሸጫው ከሰፈራችን በእግር የሚደረስበት ነው። ከሥራ ወደ ቤት ስመለስ በመስተዋቱ ውስጥ የሚያብረቀርቁትን መኪኖች እያየሁ አልፋለሁ እንጂ ገብቼበት አላውቅም። ያን ቀን ለቤተ ክርስቲያን የምለብሰውን ካፖርት ለበስኩ። ባለቤቴ ጢሙን ተላጭቶ ወጣና፣ ሁለታችንም መኪና የሚገዙ ሰዎች መስለን ስንተያይ ሳቃችን መጣ።

የተቀበለን ሻጭ ፀጉሩ የሳሳ፣ ፊቱ የደከመ፣ ቶተንሃም ተወልዶ ያደገ ሰውዬ ነበር። ወንበር ስቦ አስቀመጠን፤ ሻይ አስመጣልን፤ ስለ ቀለም ምርጫና ስለ ነዳጅ ቁጠባ ያስረዳን ጀመር። የሻዩን ስኒ አስቀመጥኩ።

"ይቅርታ" አልኩት። "መኪና አንገዛም። የመጣነው ለማይሉ ነው።"

ባለቤቴ ጫማውን ማየት ጀመረ። ሻጩ ግን ብሮሹሩን አጠፈና ሳቀ።

"በዚህ ወር እዚያ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ሁሉ የመጣው ለማይሉ ነው" አለ። "ቀድማ የነገረችኝ አንቺ ብቻ ነሽ። በይ ሻይሽን ጨርሺ። የት ልትሄዱበት ነው?"

"እናቱ ዘንድ" አልኩት ባለቤቴን እያሳየሁ።

ባለቤቴ ቀና ብሎ አየኝ። ትኬቱን ለማን እንደማስበው የሰማው ያን ጊዜ ነበር፤ ያውም በእንግሊዝኛ፣ ለማናውቀው ሰው ሲነገር።

መኪናዋ ቀይ ነበረች። ሻጩ ከጎኔ፣ ባለቤቴ ከኋላ ተቀመጡ። ወንበሩን አስጠጋሁ፤ ስፖኪዮውን አስተካከልኩ፤ ቀበቶዬን ሁለቴ አየሁት። ከግቢው ስወጣ ፍሪሲዮኑን ቶሎ ለቀቅኩትና መኪናዋ ተንዘፍዝፋ ጠፋች። እንደገና አስነስቼ ዋናው መንገድ ላይ ወጣሁ። አደባባዩ ዘንድ ስደርስ ደግሞ ጠፋችብኝ። ከኋላዬ የቆመው ቫን ክላክሱን ነፋው።

"ይንፋው" አለ ባለቤቴ በአማርኛ፣ ቀስ ብሎ። "ስለ ቸኮለ አንቺ አትቸኩይም። እኔ ላይ በአንድ ሌሊት ስንቱ ይነፋል መሰለሽ። ፍሪሲዮን እርገጪ። አንደኛ አስገቢ። አሁን መንገዱ ያንቺ ነው።"

አንድም ቃል አልናገርም ያለው ሰው ከዚያ በኋላ አላቋረጠም። "ደግ። ሁለተኛ። እንደሱ። ፍሬቻሽን እንዳትረሺ።" ድምፁ ቤት ውስጥ ሰምቼው የማላውቀው ዓይነት ነበር። እኔ ስተኛ እሱ ይወጣል፤ እኔ ስወጣ እሱ ይገባል፤ አብዛኛው ወሬያችን "ምግብ ፍሪጅ ውስጥ አለ" ነበር። አሁን ከጆሮዬ ጀርባ ሆኖ መንገዱን አንድ በአንድ ሲነግረኝ ትከሻዬ እየላላ መጣ። ሻጩ ቋንቋውን ባይሰማም ነገሩ ገብቶት በጣቱ ብቻ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ያሳየኛል።

በመመለሻችን ዝናብ ጀመረ። መጥረጊያውን ለማግኘት ስታገል ባለቤቴ ድንገት "ቁሚ! ቁሚ!" አለ። ሰው የገጨሁ መስሎኝ ፍሬን ረገጥኩ።

አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ፣ ነጠላቸውን በዝናብ ካፖርታቸው ላይ የጣሉ አንዲት እናት ቆመዋል። የሕንጻችን ነዋሪ ናቸው፤ ደረጃ ላይ ስንገናኝ ሰላምታ ከመለዋወጥ በቀር ብዙም አናወራም ነበር። ከሼፈርድስ ቡሽ ገበያ የጤፍ ዱቄትና ሽንኩርት ገዝተው፣ ፌስታሎቹን መሬት እንዳይነኩ በሁለት እጃቸው አንጠልጥለዋል።

ባለቤቴ ሻጩን በእንግሊዝኛ ለመነው፤ "ጎረቤታችን ናቸው፤ ቤታቸው በመንገዳችን ላይ ነው።" ሻጩ ሰዓቱን አየ፤ ዝናቡን አየ። "ታዲያ ምን ትጠብቃለህ?" አለው። ባለቤቴ ወርዶ ዕቃውን ተቀበላቸውና ከጎኑ አስቀመጣቸው።

"ውይ ልጆቼ! መኪና ገዛችሁ?" አሉ እማማ፣ የወንበሩን ልብስ በመዳፋቸው እየዳበሱ። መልስ አልጠበቁም። "እሰይ! እሰይ! የደስታ መንጃ ያድርግላችሁ! ከክፉ ዓይን፣ ከክፉ አጋጣሚ ይሰውራችሁ! ልጅ ጫኑባት፣ ሙሽራ ጫኑባት!" ከዚያ ወደ ፊት ሰገግ ብለው በእኔና በሻጩ መካከል፣ ዳሽቦርዱ ላይ፣ እንትፍ! እንትፍ! አሉ።

ሻጩ ደንግጦ ወደ ኋላ ዞረ። "ምን እያሉ ነው?"

"መኪናዋን እየመረቋት ነው" አለው ባለቤቴ።

ሰውዬው ዳሽቦርዱን አየ፤ እማማን አየ። "ለእኔም አንድ በላቸው፤ ከሰኞ ጀምሮ አንድ እንኳ አልሸጥኩም።"

ባለቤቴ ተረጎመላቸው። እማማ "እግዜር እጅህን ያፍታታው፣ ልጄ" ብለው ትከሻውን ጠበቅ አድርገው ያዙት። ሰውዬው ቀላ።

እኔ መንገዱ ላይ አፍጥጬ ስነዳ እማማ ባለቤቴን ይጠይቁት ጀመር። የማን ልጅ ነህ፣ አገርህ የት ነው፣ እናትህ አሉ ወይ። በሕይወት እንዳሉ ሲነግራቸው፣ "መቼ አየሃቸው?" አሉት።

"ከወጣሁ ወዲህ አላየኋትም።"

"ወረቀት የለህም?"

"አለኝ።"

ከዚያ ባለቤቴ ለእኔ ነግሮኝ የማያውቀውን ነገር ለእሳቸው ሲናገር ሰማሁት።

"ፈርቼ ነው፣ እማማ። ትቻት ስወጣ ጠንካራ ሴት ነበረች፤ ውሃ ተሸክማ ዳገት የምትወጣ። በስልክ ድምፅዋ አልተለወጠም። ሄጄ ሌላ አሮጊት ባገኝስ? እሷስ እኔን ስታየኝ፣ ያ ልጅ ጠፍቶ ሌላ ሰውዬ ቢመጣባትስ?"

እማማ አልሳቁበትም፤ አላባበሉትምም።

"እሷም እኮ ይህንኑ ትፈራለች" አሉት። "ሁለታችሁም ፈርታችሁ ማን ይቅደም? እግሩ የጠነከረ ይሂድ።"

በስፖኪዮው ውስጥ አየሁት። ዓይኑን በመስኮቱ ወደ ውጭ ጥሎ፣ የሽንኩርቱን ፌስታል ጉልበቱ ላይ አቅፎ ነበር። ቀዩ መብራት ላይ ስቆም እጄን ወደ ኋላ ሰደድኩለት። ያዘው። መብራቱ አረንጓዴ ሲሆን ሻጩ "እጅሽን ወደ ማርሹ መልሺ" አለኝ፤ ሆኖም በጣም በለሰለሰ ድምፅ ነበር።

እማማን ከነዕቃቸው በራችን ላይ አውርደን መኪናዋን መለስን። ሻጩ የአባልነት ቁጥሬን ኮምፒውተሩ ላይ መዘገበና ሁለታችንንም ጨበጠን። "ሌላ ጊዜ ስትመጡ ደግሞ እኚያን እናት አምጡልኝ" ብሎ ቀለደ። ወደ ቤት የተመለስነው በእግራችን፣ በአንድ ጥላ ሥር ነው። ባለቤቴ ያን ቀን መተኛት የነበረበትን ጊዜ ለእኔ ሰጥቶ ሻይ አፍልቶ አወራኝ፤ ስለ እናቱ፣ ስለ ዳገቱ፣ የወጣ ቀን በራፉ ላይ ምን እንዳሉት። እኔም ስለሁሉም እንደ አዲስ ጠየቅሁት።

ችግሩ የመጣው እሑድ ነው። ቤተ ክርስቲያን ደርሰን ጫማችንን ሳናወልቅ "እንኳን ደስ ያላችሁ!" የሚል ሰው ከበበን። እማማ አውርተውት ኖሯል። አንዱ ስንት ፈረስ ጉልበት አላት ይላል፤ አንዷ ከቅዳሴ በኋላ እስከ ብሪክስተን ታደርሱኛላችሁ ትላለች። ባለቤቴ እየተንተባተበ እውነቱን ሲናገር ሳቁ ግቢውን ሞላው። እኔ ግን በእማማ ፊት አፍሬ ዘወር ብዬ ቆምኩ። እሳቸው ራሳቸው መጥተው ክንዴን ያዙኝ።

"ታዲያ የማን ነበረች?"

"የመሸጫው፣ እማማ። ቶሎ ስላልነገርንዎት ይቅርታ ያድርጉልን።"

"ምን ይቅርታ አለው? በዝናብ አድርሳኛለች አይደለም? ለገዛት ሰው ይድረሰው፤ ምርቃት አይባክንም" አሉኝ።

ማይሉ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ካርዴ ላይ ገባ። ትኬቱን በስሙ ቆረጥኩ፤ ለእኔም ገዛን። አንዳችም ሳያንገራግር የሥራ ዕረፍት ፈቃዱን አፕላይ አድርጎ፣ ለእናቱ ደውሎ ቀኑን ነገራቸው። በወዲያኛው ጫፍ እልልታ ሲሰማ ስልኩን ለእኔ ሰጥቶኝ ወደ መታጠቢያ ቤት ገባ፤ ውሃውንም ለረጅም ጊዜ ከፍቶ ቆየ።

እናቱ ደብረ ብርሃን በራፋቸው ላይ ቆመው ጠበቁን። በእርግጥም አርጅተዋል፤ ቁመታቸው እስከ ደረቱ ብቻ ነበር። ሁለት እጃቸውን ዘርግተው ፊቱን ያዙና ግንባሩን፣ ጉንጩን፣ የሳሳውን ፀጉሩን በጣታቸው ዳሰሱ። "ሸብተሃልሳ!" አሉት። እሱም "አንቺም አጥረሻል" አላቸው። ሁለቱም ያለቅሱ ይሆናል ብዬ ስጠብቅ ሳቁ፤ እየሳቁ ነው እንባቸው የወረደው።

ቤቱ በዘመድ ተሞልቶ ነበር። ከምሳ በኋላ እሱ እናቱ አጠገብ መደቡ ላይ እንደተቀመጠ ዓይኑ ከደነ፤ ዘንበል አለና ጭናቸው ላይ ራሱን ጣለ። እኔ እንግዳ ፊት ያሳፍራል ብዬ ልነካው ስል እናቱ እጄን ያዙኝ።

"ተይው" አሉኝ በሹክሹክታ። ነጠላቸውን አውልቀው ትከሻው ላይ ጣሉለት፤ በበሩ ለሚገባው እንግዳ ሁሉ ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አድርገው ዝም በሉ እያሉ፣ እስኪነቃ ድረስ እግራቸውን ሳያንቀሳቅሱ ተቀመጡ።