የቡና ማበጠሪያው ትንሿ በር

ስመኝ ቂመኛ ናት። እንዲህ የሚሏት ጠላቶቿ አይደሉም፤ ራሷ ናት። የንስሐ አባቷ «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» እያሉ በገሠጿት ቁጥር «ልክ ነው አባ፤ ሳሉ ግን አልለቀቀኝም» ትላቸዋለች። ዲላ ውስጥ ስዕል በማስተማር የምትኖር፣ ጨዋታ የምታውቅ፣ ተማሪዎቿ የሚወዷት ሴት ናት። ገበያ ስትወርድ ከባጃጅ ነጂው እስከ አቮካዶ ሻጯ ከሁሉም ጋር ትቀልዳለች። ተሻለ የሚባለው የቡና ነጋዴ ስም ሲነሣ ግን ጥርሷ ግጥም ይላል።

ምክንያት አላት። ስመኝ ልጅ ሳለች እናቷ ጸሐይ በተሻለ ቡና ማበጠሪያ ውስጥ የለቃሚዎች ካቦ ነበረች። ሴቶቹ በረጅሙ አዳራሽ ተደርድረው ተቀምጠው ጥቁሩንና የተሰበረውን ፍሬ ከደህናው ይለያሉ፤ ጸሐይ በሩ አጠገብ ተቀምጣ ትቆጣጠራለች። ደወል ሳይደወል ከቦታ መነሣት ክልክል ነው። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከጎን ያለው የገለባ መጋዘን ተቀጣጠለና ጭሱ አዳራሹን ሞላው። በሩ አልከፈት አለ። ሴቶቹ መስኮት ሰብረው እየዘለሉ ወጡ፤ ሁለቱ ግን ሳይወጡ ቀሩ። ከሁለቱ አንዷ የስመኝ ጓደኛ የሩቂያ እናት ነበረች።

ሽማግሌዎች ሶንጎ ላይ ተቀመጡ። ሶንጎ ማለት የጌዴኦ አባቶች ነገር የሚሰሙበት፣ ውሸት የማይነገርበት ሸንጎ ነው። የማይነገርበት ነው የተባለው፤ ተሻለ ግን ተናገረበት። «በሩን ከውስጥ የቀረቀሩት ራሳቸው ናቸው» አለ። «በሩ አጠገብ የምትቀመጠው ደግሞ ጸሐይ ናት።» እውነትም ሴቶቹ አቧራና ነፋስ ሲያስቸግራቸው ከውስጥ ይቀረቅሩ ነበር። ጸሐይ «መቀርቀሪያውን ስቤዋለሁ፤ በሩ ነው እምቢ ያለኝ» ብትልም በዚያ ጭስ ውስጥ እጇን ያየ ሰው አልነበረም። በሩም ነድዷል። ነገሩ ከሚከርር ብለው አስታረቁ፤ ጸሐይ ያላጠፋችውን ጥፋት ይቅርታ ጠየቀች፣ የሟች ቤተሰቦች ይቅር አሉ፣ ከእንግዲህ ይህን ነገር በአፉ የሚያነሣ የዕርቁ አፍራሽ ይሁን ተባለ። ስመኝም የእናቷን ቀሚስ ይዛ ቆማ ከሰው ጋር አሜን ብላለች።

ይቅር ተባለ እንጂ የቀደመው ሰላምታ አልተመለሰም። ሩቂያ መንገድ ትቀይር ጀመር። ለጸሐይ ቡና ጠጪ ጎረቤት ጠፋ፤ ለቅሶ ቤት ስትገባ ወንበሩ ከአጠገቧ ይርቃል። ቀስ በቀስ ከቤት መውጣት ተወች፤ ኋላም አልጋ ያዘች። ስመኝ ያደገችው ይህን እያየች ነው፣ አፏን በአሜን ዘግታ።

እንግዲህ ዘንድሮ ተሻለ ማበጠሪያው የነበረበት ቦታ ላይ ሆቴል ሠራ። አዲስ አበባ ያለው ልጁ የድሮውን ማበጠሪያ ትንሽ ሞዴል አሠርተን በመስታወት ውስጥ እንግዳ መቀበያው ላይ እናስቀምጥ አለ፤ ክፍሎቹን ኤምዲኤፍ ከሚሉት የተጨመቀ እንጨት በማሽን አስቆርጦ በካርቶን ላከ። ግድግዳው፣ መስኮቱ፣ ምሰሶው ሁሉ ተቆርጦ መጥቷል። የሚገጣጥመው፣ ከዚያም እንዲያረጅ የሚያደርገው ሰው ግን ያስፈልጋል። ለዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ሞዴል ስትሠራ የምትታወቀው ስመኝ ናት። ተሻለ ራሱ ካርቶኑን አስይዞ ቤቷ ድረስ መጣ። የማን ልጅ እንደሆነች ያውቃል፤ ግን ነገሩ በዕርቅ ያለቀ ነው ብሎ ያምናል። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም የሚባለው ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው ነው።

ስመኝ እምቢ ልትል አፏን ከፍታ ነበር። ከዚያ ካርቶኑ ላይ የተለጠፈውን የሕንፃውን ስዕል አየችና «እሺ ጋሼ፣ በደስታ» አለች። ለምን እንዳለች ያን ጊዜ ራሷም አታውቅም። ያንን ቤት በእጇ መያዝ ብቻ ፈልጋለች።

በየቀኑ ከትምህርት ቤት ስትመለስ መስኮቱ ሥር ትቀመጣለች። የክፍሎቹን ጠርዝ በብርጭቆ ወረቀት ትፈትጋለች፣ በኮላ ታያይዛለች፣ እስኪደርቅ በልብስ መቆንጠጫ ትይዘዋለች። ለጣሪያው የለስላሳ ቆርቆሮ እየቆረጠች በሚዶ ጥርስ ላይ እየተጫነች ሸንተረር አወጣችለት። ጣሪያው እንዲነሣ አድርጋ ነው የሠራችው፣ አዳራሹና የለቃሚዎቹ መቀመጫ ዱካዎች እንዲታዩ። ቤቱ አዲስ ሲመስል ደስ አላላትም፤ ማስረጀት ስትጀምር ነው እጇ የጋለው። የብረት መፈተጊያ ሽቦ አቼቶ ውስጥ ዘፍዝፋ ዝገት አበጀች፣ ከሚስማሮቹ ራስ ጀምራ ወደ ታች አወረደችው። የግድግዳውን ግርጌ በቀይ አፈር አሸች፣ ዝናብ የሚረጨውን ያህል ብቻ። መስኮቶቹ ሥር በቡና አተላ አጠየመች። የገለባ መጋዘኑ ጋ ስትደርስ የጥላሸቱን ብሩሽ አነሣች፣ መልሳም አስቀመጠችው። ተሻለ ያዘዘው ከእሳቱ በፊት የነበረውን ቤት ነው። ጸሐይ አልጋዋ ላይ ሆና ታያታለች። አንድ ቀን «ተይው ልጄ፤ አንቺ ኑሮሽን ኑሪ» አለቻት።

ተሻለ በየጊዜው እየመጣ ያይ ነበር። ይህ ሰው አንድ በሽታ አለበት፤ የተሳሳተ ነገር አይቶ ማለፍ አይችልም። ቄስ ሲቀድስ የሚያርም፣ ሙሽራ ሲሞሸር ካባውን የሚያስተካክል ሰው ነው። «አይ፣ አይ፣ ዝገቱ በዚህ በኩል አይደለም የወረደው፤ አሸንዳው እዚያ ማዶ ነበር። ይህቺ መስኮት አንድ ብርጭቆ ጎድሏት በካርቶን ነበር የተደፈነችው።» ሁሉን ያስታውሳል፣ ሁሉም ልክ ነው። ስመኝ እያስተካከለች ትሰማዋለች፤ በልቧ ግን የት ላግኝህ ትላለች።

አንድ ከሰዓት በኋላ ገና ያልተገጠመውን በር ጠረጴዛው ላይ አየው። በጣቱ እያገላበጠ «የውጩን ብረት እንዳትረሺ» አለ። «ያለ እሱ በሩ በር አይሆንም።»

«የቱን ብረት ጋሼ?»

«ኧረ የጓጉንቸሩን ማንጠልጠያ ነዋ» አለና ስልኩ ጠርቶ ወጣ።

ስመኝ ብሩሹን እንደያዘች ቀረች። በሩ ከውስጥ እንጂ ከውጭ መቆለፊያ ነበረው ብሎ የተናገረ ሰው እስከዛሬ የለም። ሮጣ ሄዳ ሽማግሌዎቹን ልትጠራ ተነሣችና ተቀመጠች። ያለ ምስክር የተባለ ነገር ነፋስ ነው፤ እሷ ካነሣችው ደግሞ የዕርቁ አፍራሽ እሷ ናት። መነሣት ካለበት ከራሱ አፍ ነው መነሣት ያለበት፣ ሰው ሁሉ ባለበት። ዝም አይነቅዝም አለች። የበሩን የውጭ ፊት እንደ ጥፍሯ አለስልሳ ቀባችው፤ ማንጠልጠያ የሚባል ነገር ዝር ሳይልበት ገጠመችው። ከዚያ በኋላ ተሻለ ሊያይ ሲመጣ «ቀለሙ አልደረቀም» እያለች በጨርቅ ሸፈነችው።

የሆቴሉ ምረቃ ዕለት አዳራሹ ጢም አለ። ቡና ነጋዴው፣ የመሥሪያ ቤት ሰዉ፣ ከወርቃና ከአሪቻ የመጡት ቡና አቅራቢዎች ነበሩ። ተሻለ ዝናውን ይወዳልና የድሮ ሠራተኞቹንም አስጠርቷል፤ ሩቂያም በእናቷ ቦታ ተጠርታ ከኋላ ቆማለች። ዕርቁን የመሩት አቶ ወልደዮሐንስ ከሌሎቹ ሽማግሌዎች ጋር ፊት ለፊት ተቀምጠዋል። ሞዴሉ ተገለጠ። ሰዉ ተገረመ፤ አሮጊቶቹ ለቃሚዎች እየተጠጉ የተቀመጡበትን ዱካ በጣት እያሳዩ ያለቅሱ ጀመር።

ስመኝ ነጠላዋን አስተካክላ ራሷን ዝቅ አደረገች። «ጋሽ ተሻለ፣ ቤቱን ከእርስዎ በላይ የሚያውቅ የለም። የጎደለ ካለ ሰዉ ፊት ይንገሩኝ።»

ተሻለ ደስ አለው። ሆዱን አስቀድሞ ሞዴሉን ዞረው። አሸንዳውን አደነቀ፣ በካርቶን የተደፈነችውን መስኮት ለእንግዶቹ አሳየ። በሩ ጋ ሲደርስ ፊቱ ተለወጠ።

«ምን ነው ይሄ? ነግሬሽ አልነበር? ማንጠልጠያው የታለ?»

«ይቅርታ ጋሼ» አለች ስመኝ። «መቀርቀሪያው ከውስጥ ነው ሲባል ነው የሰማሁት። ይኸው ከውስጥ ሠርቼዋለሁ።»

«የውስጡ የሴቶቹ ነው። የኔ ከውጭ ነው» አለ ተሻለ፣ ጣቱን በሩ ላይ እየመታ። ከዚያ ወደ እንግዶቹ ዞረ፤ ብልህነቱን ሊያወራ ሲል ሁልጊዜ እንደሚያደርገው ፈገግ አለ። «ያን ጊዜ ቡና በጉያ ይወጣ ነበር። እኔ ምን አደርጋለሁ? ሥራ እንደጀመሩ ቀስ ብዬ በጓጉንቸር ከውጭ እቆልፋለሁ። ደወሉ ሊደወል ሲል ራሴ መጥቼ እከፍታለሁ። እነሱ እንኳ አያውቁም ነበር።»

ጥቂት ሰዎች ሳቁ። ከዚያ ሳቁ በመሃል ተቆረጠ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ተሻለ የተናገረውን የሰማው ከሁሉ ኋላ ነው።

«ጋሼ፣ ልክ እንዳደርገው ነው» አለች ስመኝ፣ ድምጿን ሳታነሣ። «ከውጭ ነው ያሉት?»

ስመኝ ተሻለ ፊት ላይ ላቡ ሲፈስ እያየች ቆመች፤ ዓይኗን አላነሣችለትም። ጣፈጣት። ለዚህ ሰው ያኔ አላዘነችለትም፣ አሁንም አታዝንለትም፣ ይህንንም ለንስሐ አባቷ አልደበቀችም።

አቶ ወልደዮሐንስ በዱላቸው ተደግፈው ተነሡ። «ተሻለ» አሉ፣ ሴትና ወንድ በማይለየው አማርኛቸው። «እኛ እነዚያን ሴቶች ቀብረናል። አንተ ሶንጎ ላይ ቆመህ ከውስጥ ነው አልክ። እኛ አመንን። ጸሐይን ይቅርታ በል አልነው። አሁን ነገሩን ማን አነሣው? ያነሣው የጸሐይ ልጅ አይደለም፤ አንተ ነህ።» ከዚያ ወደ ገበታው አዩ። «ያንተ ምግብ አንበላም።»

ሽማግሌዎቹ ተከትለዋቸው ወጡ። ለቃሚዎቹ ወጡ፤ ከወርቃ የመጡት አቅራቢዎችም ባርኔጣቸውን አንሥተው ወጡ። የተሰናዳው ሁሉ እንደተከደነ ቀረ። ሰው ድግሱን ሳይቀምስለት ከመውጣት የሚብስ ውርደት በዚያ አገር የለም፤ ነገሩም በማግስቱ ሶንጎ ላይ እንደገና እንዲታይ ተቀጠረ።

ስመኝ ቤቷ ስትደርስ ባጃጅ በር ላይ ቆሟል። ሩቂያ ቀድማታለች። ጸሐይ እግር ሥር ተንበርክካ ጉልበቷን ይዛ ታለቅሳለች፤ የሆነውን ሁሉ ነግራታለች።

ጸሐይ አላለቀሰችም። ልጇን ቀና ብላ አየቻት። «ስሚ ስመኝ» አለች። «ስቤዋለሁ ማለት ነው? መቀርቀሪያውን?»

«ስበሽዋል እማዬ። ድሮም ብለሽ ነበር እኮ።»

«ብዬ ነበር» አለች ጸሐይ። «ሁሉም አንቺ ነሽ ሲሉኝ ግን ምናልባት በድንጋጤ መልሼ ገፍቼው ይሆን እል ጀመር። ኋላ ኋላማ እጄ ሲገፋው ይታየኝ ነበር። ሁለቱን ሴቶች የገደልኳቸው እኔ ነኝ ብዬ ነው እዚህ የተኛሁት።»

ስመኝ ይህን አታውቅም ነበር። ሆቴሉ ውስጥ የጣፈጣት ነገር ሁሉ አፏ ውስጥ መረረ። ሰውየው ከእናቷ የወሰደው ስሟን ብቻ መስሏት ነበር። ተሻለን ያዋረደችባት ያቺ ውርደት ለዚህ አትበቃም፤ ምንም አይበቃም።

ያን ሁሉ ዘመን ተይው ልጄ ስትል የኖረችው ጸሐይ ሩቂያን በክንዷ አስነሥታ አጠገቧ አስቀመጠቻት፣ እንባዋንም በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችላት።

«ተሻለን ዕድሜ ይስጠው» አለች። «ረጅም ዕድሜ። ሲተኛም ሲነሣም እጁ ያንን በር ሲቆልፍ እየታየው የሚኖርበት።»

ስመኝ አሜን አለች።