አርባ አምፖል በአባያ ላይ

ጀልባ ለመጀመሪያ ጊዜ የነካሁት ለገና መብራት ልገጥምላት ነው። እስከዚያ ቀን እጄ ያረፈው በመኪና ላይ ብቻ ነበር። ሶዶ መናኸሪያ ጀርባ በነበረችኝ ጠባብ ክፍል የአይሱዙ ፍሬቻ፣ የአውቶቡስ የውስጥ መብራትና የሙሽራ መኪና ጌጥ እሠራ ነበር። ያስተማረኝ ሰው የለም። የተቃጠለ ዲናሞ ፈትቼ፣ ገጥሜ፣ እንደገና ፈትቼ ነው የተማርኩት። ደርግ በወደቀ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከገሱባ እስከ ቢጠና መብራት እምቢ ያለው ሹፌር ሁሉ የሚፈልገው እኔን ነበር። ይህን የምጽፈው ለመኩራራት አይደለም ብል ውሸት ይሆንብኛል፤ እኮራበታለሁ።

ሥራውን ያመጣልኝ መምህር ጴጥሮስ ነው። በሁምቦ ቆላ፣ አባያ ሐይቅ ዳር ያለች የአንዲት ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ነበር። በየገናው ዋዜማ የማዶው መንደር መዘምራን በጀልባ ይመጡላቸዋል። ምእመኑም ፀሐይ ስትጠልቅ ዳር ላይ ቆሞ ይቀበላቸዋል። በዚያ ዓመት ጀልባዋ በመብራት አጊጣ እንድትመጣ አሰቡ። በውሃ ላይ ኤሌክትሪክ መያዝ ይቻል እንደሆነ ጠየቀኝ። አውቶቡስ ላይስ ማን ኤሌክትሪክ ዘረጋ አልኩት። ባትሪ ካለ ሁሉም ይቻላል።

ከዋዜማው ሁለት ቀን ቀድሜ ፒንሳዬን፣ ካቻቢቴዬን፣ ቴስተሬንና መሰርሰሪያዬን ይዤ ወረድኩ። ጀልባዋ የላሊሶ ነበረች። ላሊሶ ዓሣና ሰው ሲያመላልስ የኖረ፣ ቃል የሚቆጥብ ሰው ነው። የብረት ጀልባዋ ኋላዋ ላይ ሞተር አላት። እሱ እዚያው ሞተሩ አጠገብ ተቀምጦ ነው የሚነዳው። የአምፖሎቹን መያዣ በብሎን ላስር ብዬ መሰርሰሪያውን ጎኗ ላይ ሳስጠጋ እጄን ያዘኝ።

«ኢሻው፣» አለኝ፤ ወንድሜ ማለቱ ነው። «መኪና ብትበሳ ዝናብ ነው የሚገባው። ይቺን ብትበሳ ሐይቁ ነው የሚገባው።»

ዳር ላይ ቆመው የሚያዩን ሁለት ዓሣ አጥማጆች ሳቁብኝ። እኔም ሳቅሁ፤ መሰርሰሪያውንም መለስኩ። በምትኩ ቀጫጭን የእንጨት ምሰሶዎች አቆምኩ፣ ከመኪና ጎማ ውስጥ በሚወጣው የከመነዳሪ ላስቲክ ከጠርዙ ጋር ጠፍሬ አሰርኳቸው፣ ሽቦውንም በእነሱ ላይ ዘረጋሁ። ጀልባዋ አንዲት ቀዳዳ ሳይበሳባት ተሠራች። እስከ ዛሬ በዚያ አካባቢ ጀልባ ላይ መብራት የሚታሰረው በዚሁ ዘዴ ነው፤ ከእኔ መወሰዱን የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው።

አርባ የአይሱዙ አምፖል ነበረኝ፤ በግራ ሃያ፣ በቀኝ ሃያ። ለየመስመሩ የራሱ ፊውዝና የራሱ ባትሪ ሰጠሁት። መገጣጠሚያውን ሁሉ በናስትሮ ሁለት ጊዜ ጠቀለልኩ። ግማሾቹን ቀይ ለማድረግ የጥፍር ቀለም ገዛሁ። ባለሱቋ ለየትኛዋ ሴት እንደሆነ ጠየቀችኝ። ለጀልባ ነው ስላት ቀለሙን ልትከለክለኝ ምንም አልቀራትም።

በመጨረሻ ከፊት፣ ከጀልባዋ ጫፍ ላይ፣ አንድ ትልቅ ፓውዛ ተከልኩ። የገና ኮከብ እንዲመስል በቆርቆሮ ጨረር ሠራሁለት። ላሊሶ ይህን ሲያይ ከፊቱ እንዳላደርግበት ለመነኝ። መኪና ያለ ፊት መብራት እንደማይነዳ አስረዳሁት። መምህር ጴጥሮስም ኮከቡን ስለወደደው ከእኔ ጋር ሆነ። ላሊሶ ትከሻውን ነቅንቆ ወደ ሞተሩ ተመለሰ።

በዋዜማው ፀሐይ ስትጠልቅ አሥራ አራት መዘምራን ከማዶ ተሳፈሩ። እኔ መሐል ላይ በባትሪዎቹ አጠገብ ተቀመጥኩ፤ የአምፖሎቹም የፓውዛውም ማብሪያ በእጄ ነበር። ወደ ዳር ስንቃረብ አበራሁት። ከዳር የተነሳው እልልታ በውሃው ላይ ተንከባሎ መጣ። ስሜን የጠራም ነበር። በሕይወቴ ብዙ ነገር አብርቻለሁ፤ እንደዚያ የተጨበጨበልኝ ግን አልነበረም።

ከዚያ ትንኙ መጣ። የሐይቁ ዳር ትንኝ ብርሃን ይወዳል፤ እኔ የመናኸሪያ ሰው ይህን አላውቅም። ከፓውዛው ፊት እንደ ነጭ መጋረጃ ቆመ። ላሊሶ ሞተሩን ቀነሰ፣ ቀጥሎም አጠፋው። መብራቱን እንዳጠፋ ነገረኝ።

«ምን ሆነ? ሁሉም እየሠራ ነው» አልኩት።

«ሁሉም ይሠራል። እኔ ግን አላይም።»

እሱ በምሽት የሚነዳው የተራሮቹን ጥላ ከሰማዩ ለይቶ እያየ ነው። ከጀልባ ማቆሚያው ፊት ሐይቁ ሞልቶ የዋጣቸው የደረቁ ዛፎች አሉ፤ በመሐላቸው ማለፊያው አንድ ብቻ ነው። የእኔ መብራት ተራራውንም፣ ዛፉንም፣ ማለፊያውንም ጋርዶበታል። ነፋሱ ደግሞ ወደዚያው እየገፋን ነበር። ከመዘምራኑ ዋና የሚችሉት ሁለት ብቻ ነበሩ።

እውነቱን ልጻፍ። ጥቂት ደቂቃ ታገሰኝ አልኩት። ዳር ላይ ያ ሁሉ ሕዝብ እያየ እጄ ወደ ማጥፊያው አልሄድ አለኝ። ቢጠፋ ሥራው አልሠራም እንደሚሉ አውቃለሁ። ፓውዛውን ብቻ ላጥፋ አልኩ፤ አጠፋሁት። ላሊሶ የግራና የቀኙም አምፖል ዓይኑ ውስጥ እንደሚገባ ነገረኝ።

የመዘምራኑ መሪ ወይዘሮ ማርታ ከፊቴ ነበረች። ድምጿን ሳታነሳ፣ «ጋሼ ማርቆስ፣ እኛ እንዘምራለን፤ በድምፃችን ያውቁናል። እርስዎ ያጥፉት» አለችኝ።

አጠፋሁት።

እልልታው ተቋረጠ። ድምፅ በውሃ ላይ ጥርት ብሎ ስለሚሰማ ከዳር «ተቃጠለበት! የሶዶው ሰው ሥራ ተቃጠለበት!» ሲል አንዱን ሰማሁት። መዘምራኑ መዝሙራቸውን ጀመሩ። ላሊሶ ዓይኑ ከጨለማው ጋር እስኪለማመድ ሳይንቀሳቀስ ጠበቀ። ከዚያ መቅዘፊያውን አንስቶ ወደ ፊት አመለከተኝ። የጀልባዋ ጫፍ ከአንድ የደረቀ ግንድ ሁለት ክንድ እንኳ አይርቅም ነበር። ግንዱን በመቅዘፊያው ገፋው፣ ሞተሩን አስነሳ፣ ማለፊያውንም አግኝቶ በጨለማ አስገባን።

ጀልባዋ ከታሰረች በኋላ ማብሪያውን ተጫንኩ። አርባውም በሩ። ሕዝቡ እንደገና እልል አለ። መምህር ጴጥሮስ ምን ተበላሽቶ እንደነበር ጠየቀኝ። ባትሪው ነው፣ እርጥበቱ ነው ማለት ይቻል ነበር፤ ማንም አይመረምረኝም። ላሊሶም ገመዱን እየጠቀለለ ያዳምጥ ነበር።

«ምንም አልተበላሸም» አልኩት። «ነጂው እንዳያይ አድርጌ ነው የገጠምኩት። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

በሥራ ዘመኔ ለደንበኛ እንዲህ ያልኩት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ሌላ ጊዜ ስላላጠፋሁ።

በተከታዩ ዓመት ከሥራው በፊት ላሊሶ ቦታ ላይ ተቀምጬ በምሽት አንድ ሙሉ ሰዓት ሐይቁን አየሁ። ከዚያ ከዘይት ቆርቆሮ አርባ መከለያ ቆረጥኩ፣ ውስጣቸውን ጥቁር ቀባሁ፣ አምፖሎቹም ወደ ውጭ ብቻ እንዲያበሩ አደረግሁ። የኮከቡን ቆርቆሮ ከፓውዛው ለይቼ ከላሊሶ ጀርባ ሰቀልኩት። ፓውዛውን ከጀልባዋ አውርጄ ማቆሚያው ላይ ወደ መሬት አዘቅዝቄ ተከልኩት፤ ላሊሶ ከሩቅ ምልክት አደረገው። በዋዜማው ከጀልባዋ ሲወርድ «አሁን ዓሣ አጥማጅ መምሰል ጀመርክ» አለኝ። ከላሊሶ አፍ ከዚህ የበለጠ ምስጋና የሰማ ሰው አላውቅም።

ከዚያ ወዲያ ሌሎቹም ባለጀልባዎች መጡ። በአንድ ገና ስድስት ጀልባ ያበራሁበት ዓመት አለ። ኋላ የቻይናው ተዘጋጅቶ የሚሸጥ መብራት ሲመጣ ወጣቶቹ ጀልባዋን ዙሪያዋን ይጠመጥሙባት ጀመር። ባለጀልባዎቹ መጀመሪያ ማርቆስን ጠይቃችሁ ኑ ብለው ወደ እኔ ይልኳቸዋል።

ለሚመጡት የምነግራቸው አጭር ነው። ሽቦ ከመዘርጋታችሁ በፊት ሲመሽ ነጂው ቦታ ላይ ተቀመጡና እሱ የሚያየውን እዩ። ከእሱ ፊት አንድም አምፖል አይገጠምም። ማጥፊያውም እሱ እጅ ላይ ይሁን።