ድንኳኖቹ ያሉበት ገጽ

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ለሕፃናት ክፍል ታሪክ የማነበው እኔ ነኝ። አዳራሽ እንለዋለን እንጂ ከሰፈራችን ቤተ ክርስቲያን ጀርባ ያለ የቆርቆሮ ቤት ነው። ልጆቹ ምንጣፍ ላይ ይቀመጣሉ፣ እኔ ዱካ ላይ። ዘንድሮ የጽጌ ወቅት ሲገባ የክፍሉ ኃላፊ አንድ ባለ ሥዕል መጽሐፍ ሰጠችኝ። ወሩ የእመቤታችንና የልጇ ስደት የሚታሰብበት ነው። መጽሐፉ ደግሞ ከእናቷ ጋር ከአገሯ ስለተሰደደች ልጅ ነው፤ ከውጭ የመጣ። «ሕፃኑ ጌታም እንዲሁ ተሰድዶ ነበር ብለህ ታያይዘዋለህ» አለችኝ።

ቤት ወስጄ ከእንግሊዝኛው ጋር እየታገልኩ አነበብኩት። መሀሉ ላይ ጀልባ አለ።

ታላቅ ወንድሜ በሱዳን አድርጎ ሊቢያ ገብቶ ነበር። ከዚያ ባሕር ላይ ቀረ። አብሮት የነበረ ልጅ ለአክስቴ ደውሎ ነገራት። ነሐሴ ነበር፣ ፍልሰታ። አክስቴ ከቀጨኔ መጥታ መጀመሪያ ያደረገችው የሰባት ዓመቷን እህታችንን «ነይ፣ እኔ ጋ ትሰነብቻለሽ» ብሎ መውሰድ ነው። ከዚያ ሽማግሌዎቹ ገቡ። እማዬ ተረዳች። ድንኳን ተተከለ።

ትንሿ ስትመለስ ድንኳኑ ተነሥቷል። እማዬ ጥቁር የለበሰችው የሩቅ ዘመድ ሞቶ ነው ተባለች። ወንድማችን የማይደውለው ስልኩ ተበላሽቶ ነው። ከፍ እስክትል አይነገራት ተባለ፣ እኔም እሺ አልኩ። ከዚያ ወዲህ ቤታችን ውስጥ ስሙ አይጠራም። እማዬ እንባዋ ሲመጣ ልብስ ላሰጣ ብላ ትወጣለች። እኔ... እኔ አዲሱ ገበያ ድረስ በእግሬ ሄጄ እመለሳለሁ። ያለ ሥራ።

እህቴ ታዲያ ክፍል ውስጥ ሁልጊዜ ፊት ለፊቴ ነው የምትቀመጠው። ጀልባውን ካየች ስለ እሱ ትጠይቀኛለች። ከጠየቀችኝ ፊቴ ያስታውቅብኛል። ስለዚህ ሁለቱን ቅጠል አንድ ላይ እገልጣለሁ ብዬ ወሰንኩ።

እሑድ መጣ። ስለ ሄሮድስና ስለ ግብፅ መንገድ ነገርኳቸው፣ መጽሐፉንም ከፈትኩ። ልጅቷ ቤቷን ትታ ወጣች። ተራራ አቋረጠች። ጀልባውን ዘለልኩት። ማንም አላወቀም። ትንፋሼ መለስ አለ። ቀጣዩ ገጽ ሜዳ ነው፤ ነጫጭ ድንኳኖች በተርታ። ይህኛውን አልፈራሁትም ነበር።

«ይሄ ሁሉ ድንኳን የስንት እድር ነው?» አለ አንድ ጥርሱ የወለቀ ልጅ።

«ሰርግ ነው» አለች ከጎኑ ያለችው።

«ሰርግ ከሆነ ሙዚቃው የታለ?»

«ሥዕል ይዘፍናል እንዴ፣ አንተ ደንቆሮ?»

«ልቅሶ ነው። ሴትዮዋን አታያትም፣ ተክዛለች።»

«እና ይሄ ሁሉ ሰው በአንድ ቀን ሞተ?»

ተሳሳቁ። እኔም ልስቅ ነበር። ቤት የሌላቸው ስደተኞች የሚኖሩበት ነው ብዬ ላስረዳ ስል እህቴ እጇን አወጣች።

«እኛም ቤት ተተክሎ ነበር።»

«መቼ?» አልኳት።

«አክስቴ ስትወስደኝ። ሰዎቹ ከጋሪ ሲያወርዱት አየሁ። የጎረቤት ሰርግ ነው አለችኝ። ግን ፍልሰታ ነበር። በጾም ሰርግ የለም።»

ይህን ያስተማርኳት እኔ ነኝ።

«ወንድምዬ ነው አይደል የሞተው?»

መጽሐፉን ጭኔ ላይ አስቀመጥኩት። አዎ አልኳት። አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ፣ እዚያው ልጆቹ ፊት።

ጥርሱ የወለቀው ልጅ ተነሣ። እንደ ሽማግሌ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ መጣና «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» አለን። ከዚያ ሁሉም ተሰለፉ። አንዷ «ነፍስ...» ብላ ቀሪው ጠፋትና እህቴን ሳመቻት። እህቴ አፍንጫዋን በእጅጌዋ እየጠረገች «አሜን፣ አሜን» ትላለች። በነሐሴ ድንኳን ውስጥ ስንቱ ትልቅ ሰው አጽናንቶኛል። እንደዚያን ቀን ቀሎኝ አያውቅም።

«ጋሼ፣ ልጅቷስ?» አለ ልጁ ወደ ቦታው ተመልሶ። «አላለቀም እኮ።»

ወደ ኋላ ተመልሼ የዘለልኩትን ገለጥኩ። እህቴ ጀልባውን ቀረብ ብላ አየችው።

«ይቺ ደርሳለች?»

«ደርሳለች። ድንኳን ውስጥ ትምህርት ቤት ትገባለች።»

«ጥሩ» አለች።

ዳገቱን ወደ ቤት ስንወጣ እጄን ያዘች።

«እስከ ዛሬ ለምን ዝም አልሽ?» አልኳት።

«እማዬ እንዳታለቅስ ነዋ። እናንተስ?»

«አንቺ እንዳታለቅሺ።»

«ሞኞች ናችሁ» አለች።

አሁን የምፈራው እማዬን ነበር። በረንዳ ላይ ምስር ስትለቅም አገኘናት።

«እማዬ፣ አውቃለች» አልኳት።

እጇ ቆመ። «ማን ነገራት?»

«ማንም። ድንኳኑን አይታለች። በጾም ሰርግ የለም አለችኝ።»

ትንሽ ቆይቶ ነው የገባት። ሰፌዱን አስቀምጣ እህቴን ወደ ራሷ ሳበችና ድምፅ አውጥታ አለቀሰች። ሰው ይስማ አይስማ ሳትል። ጎረቤታችን ደንግጣ ብቅ አለች፤ ሁኔታችንን አይታ ምንም ሳትጠይቅ ገብታ ተቀመጠች።

ስትረጋጋ እህቴ «እንደ እኔ ትንሽ ሆኖ ምን ይመስል ነበር?» ብላ ጠየቀቻት። እማዬ ማውራት ጀመረች። አንድ እሑድ ከታሪክ ሰዓት ጠፍቶ ኳስ ሊጫወት አጥር ሲዘል ሱሪው ሽቦ ላይ እንደቀረ፣ ነጠላ አገልድሞ እንደ መነኩሴ አንገቱን ደፍቶ ቤት እንደገባ። እህቴ ሳቀች። እማዬም ሳቀች። ወሬዋ መሀል ስሙን ጠራችው፤ ሳይከብዳት፣ ድሮ ከግቢ ለምሳ እንደምትጠራው አድርጋ።

ምስሩ ሳይለቀም ዋለ። በዚያ ቀን ምሳ ያበላችን ጎረቤታችን ናት።