የድንጋይ ዱቄት በኮሶ ልክ

በጣልያን ጊዜ ደብረ ማርቆስ ውስጥ የማይጠረጠር ፍጡር አህያ ብቻ ነበር። እሱም ቢሆን ጆሮው ረዘም ስለሚል፣ ጠንቃቃ ሰዎች በአጠገቡ ሲያልፉ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጉ ነበር። ጎረቤት ጎረቤቱን፣ አማት ምራቷን በጎሪጥ ታያለች። እኔማ ብሶብኝ፣ ማለዳ ወጥቼ ጥላዬ ሲከተለኝ ዞር ብዬ «ማን ላከህ?» እለው ነበር።

ያን ጊዜ ገና ጎጆ የወጣሁ ጎረምሳ ነኝ። የሚስቴ ታላቅ ወንድም ጠላት ከተማውን በያዘ ሰሞን ጠመንጃውን አንግቶ ዱር ገባ። ያለበትን ገደል ከቤተ ሰቡ የምታውቅ እሷ ብቻ ነበረች፤ ከአማኑኤል ወዲያ ነው ከማለት ሌላ እኔ የማውቀው የለም። ለማወቅም አልፈለግሁ። ቢይዙኝ ገና ጅራፉን ሳያነሡ፣ የማውቀውን ጨርሼ የማላውቀውንም እንደምጨምርላቸው ራሴን አሳምሬ አውቀዋለሁ።

ሚስቴ በየገበያው ቀን ስልቻ ተሸክማ ትወጣለች። ከላይ የተባዘተ ጥጥ ነው፤ ከጥጡ ሥር ለወንድሟ የሚሆን በሶ አለ። ከከተማው መውጫ ላይ ኬላ አለ፤ ኬላው ላይ ባንዶች ይቆማሉ። እነሱ የሚፈትሹት ሁሉንም ሰው አይደለም፤ የሚንቀጠቀጠውን ነው። የሚስቴ ስልቻ ቢዘረገፍ ለአንዲት ሴት ስንቅ የማይመስል በሶ ይገኛል። ከበሶው በኋላ ጥያቄው ይመጣል፤ ከጥያቄው በኋላ ወንድሟ።

ታዲያ ሴትዮዋ መንቀጥቀጥ ጀመረች። ልቧ ያለ ምክንያት ይደልቃል፤ የግራ ዓይኗ ቆብ ይርገበገባል፤ ባቷን ይሸመቅቃታል። ውሃ ቀድታ ስታመጣልኝ ግማሹ ነው የሚደርሰኝ፤ ግማሹን መሬቱ ይጠጣዋል። ዶሮ ክንፉን ካራገበ ብድግ ትላለች። ጠበል ተጠመቀች፣ ጤና አዳም አሸተተች፣ የነገሯትን ሥር ሁሉ አኘከች። ከባንዶቹ ይልቅ ያስፈራት መንቀጥቀጡ ራሱ ነበር፤ እሱን ስታስብ ደግሞ ይብስባታል።

ጎረቤታችን ሙስሊም ባለሱቅ ነበር፤ ጨው፣ አቡጀዲ፣ መርፌ ይሸጣል። በዕድሜ ከኔ ትንሽ፣ በጢም ግን ሃያ እጥፍ ይበልጠኛል። አንድ ቀን ሚስቴ መርፌ ልትገዛ ሄዳ፣ መርፌው ከእጇ ሦስት ጊዜ ሲወድቅ አየና እኔን አስጠራኝ።

«ሚስትህ ልቧ ይመታል?» አለኝ።

«የሰው ሁሉ ልብ ይመታል። ያንተ ቆሟል?»

«ቀልድህን ተው። እኔም እንደሷው ነበርሁ። በቅሎዎቼን ከወሰዱብኝ ወዲህ በር በተንኳኳ ቁጥር እንደ ሐይቅ ዳር ደንገል ነበር የምርገፈገፈው። የጣልያኑ ሐኪም ይቺን ሰጠኝ።»

ከመደርደሪያው ሥር አንድ የቆርቆሮ ጣሳ አወጣ። ውስጡ ነጭ ዱቄት ነው። ስሙ ማኜዚያ ይባላል አለኝ። ሐኪሙ ነጭ፣ ዱቄቱ ነጭ፣ የባለሱቁ ጥርስ ነጭ፤ ያን ያህል ንጣት ባንድ ጊዜ ስመለከት ሆዴ ጠቆረ። ጣልያን ለምን ብሎ ነው የኛን ፍርሃት የሚያድነው? ፍርሃታችን እኮ ግማሹ ሠራዊቱ ነው። ደግሞስ የፍርሃት መድኃኒት የሚለምን ሰው የሚያስፈራው ነገር አለው ማለት አይደል? ስሙን መዝገብ ላይ ጻፍ፣ ከዚያ በኋላ ቤቱን ፈትሽ። ወጥመድ ማለት ይኸ ነው። ምላስ የሚፈታ ዱቄት አምጥተዋል የሚል ወሬም ሰሞኑን በገበያው ይዞር ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ወሬውን ካዞሩት ሰዎች አንዱ እኔ ነኝ።

«ከምን የተሠራ ነው?» አልሁት።

«እኔ ምን አውቄ።»

«አጥንት ይመስላል። አጥንት ከሆነ የማን እርድ ነው? የናንተ ከሆነ ለኛ አይሆንም።»

«እኔም የናንተ እርድ ቢሆንስ ብዬ ሁለት ቀን ሳልነካው ቆይቼ፣ በሦስተኛው ሐኪሙን ጠየቅሁት። ድንጋይ ነው አለኝ።»

«ድንጋይ ይበላል እንዴ?»

«የምትልሰው አሞሌስ ምንድን ነው፤ ጎመን ነው?»

«በል ቅመስ።»

በኛ አገር የሚያጠጣ ሰው አስቀድሞ ከመዳፉ ጠብ አድርጎ ይቀምሳል። ሳይቀምስ የሰጠ ወይ ባለጌ ነው፣ ወይ ገዳይ። ባለሱቁ በጥፍሩ ጫፍ ቆንጠር አድርጎ ምላሱ ላይ አኖረ።

«ይኸ ምኑ ቅምሻ ነው? ጉንዳን እንኳ ከዚህ የተሻለ ትጎርሳለች» አልሁት።

«መጠኑ ነው። በማንኪያ ጫፍ፣ በውሃ በጥብጣ፣ ማታ ማታ። ወላሂ ከዚህ ካበለጠች ሆዷን እኔ አላውቅም።»

«ለማን እንደሰጠህ ለሐኪሙ አትነግርም?»

«አንተስ ማን እንደሰጠህ ላገሩ አትነግርም?»

ተያየን። እኔ እሱን ጠረጠርሁ፤ እሱ እኔን ጠረጠረ። ጣሳውን ጋቢዬ ውስጥ ሸሽጌ ወጣሁ።

ሚስቴ ጣሳውን ከሩቅ አይታ እጇን ወደ ነጠላዋ ሰበሰበች። «አልጠጣውም» አለች። «ምላስ የሚፈታው ቢሆንስ?»

«እሱማ ወሬ ነው።»

«አንተ አይደለህ እንዴ የነገርኸኝ?»

ስለዚህ አስቀድሜ እኔ ልሞክረው ብዬ ቆረጥሁ። ወንድሟ ያለበትን ገደል አላውቀው፤ ምላሴ ቢፈታ ማን ይጎዳል?

«ያንተ ምላስ መቼ ታስሮ ያውቃልና» አለችኝ።

እዚህ ላይ ነው የሳትሁት። ለኛ ሰው መድኃኒት ማለት ኮሶ ነው። ኮሶ ደግሞ በዋንጫ ይጠጣል፤ ያንገፈግፋል፤ ሆድ ያጥባል፤ ቀን ሙሉ ያስተኛል። በማንኪያ ጫፍ የሚቀመስ ነገር እንዴት ተደርጎ መድኃኒት ይሆናል? የባለሱቁን መጠን በነጋዴ ቆንቋናነት ተረጎምሁት። ነገ ገበያ ነው፤ አብሬያት እስከ ኬላው ልሄድ ተስማምተናል። ዛሬ ማለዳ በባዶ ሆዴ ዱቄቱን በዋንጫ ውሃ በጥብጬ፣ አፍንጫዬን ይዤ፣ እስከ አተላው ገለበጥሁት።

የሆነውን እንደሆነው ልናገር። መጀመሪያ ሆዴ ውስጥ አንድ ሰው ጠረጴዛ የገፋ መሰለኝ። ቀጥሎ ቤተ ሰቡ ሁሉ ዕቃውን ይዞ መልቀቅ ጀመረ። ወደ ጓሮ ሮጥሁ፤ ተመለስሁ፤ ሳልቀመጥ ሮጥሁ። በደጄና በጓሮዬ መካከል ያን ዕለት ያወጣሁትን መንገድ ጣልያን ቢያየው ጠጠር አልብሶ ድልድይ ይሠራለት ነበር። በልጅነቴ የበላሁት ሽምብራ ሳይቀር ተሰናብቶኝ ወጣ። ሚስቴ በበሩ ቆማ ለመጣው ሰው ሁሉ «ኮሶ ጠጥቷል» ትላለች፤ የመጣውም ደጁን ሳይረግጥ ይመለሳል፤ ኮሶ የጠጣ ሰው ቤት አይገባማ።

በነጋታው እግሬ አልቆም አለኝ። ግድግዳ ይዤ ተነሣሁ፤ ግድግዳው እኔን ይዞ አስቀመጠኝ።

«ይቅርብሽ የዛሬው» አልኋት።

«ባለፈው ሳምንትም ዝናቡ አስቀርቶኛል። ምን ይብላ?» አለች። ስልቻውን አነሣች። እጇ ሲርገፈገፍ የስልቻው አፍ ማሰሪያ ሁለት ጊዜ ከጣቷ ወጣ። ከቤት ስትወጣ አየኋት፤ ከኋላዋ እንኳ ስትታይ የምትንቀጠቀጥ ሴት ነበረች።

እስክትመለስ ድረስ ያሰብሁትን አልጽፈውም። ያን ቀን ቀልድ አልመጣልኝም።

ከቀትር በኋላ ባዶ ስልቻ ይዛ ገባች። ነጠላዋን ሳታወርድ መደቡ ላይ ቁጭ አለችና በሳቅ ፈነዳች።

«አስቆመኝ» አለች። «ያ ጉንጫሙ ባንዳ። ‹ምን ያንቀጠቅጥሻል?› አለኝ። ጭንቅ ሲለኝ እውነቱ አመለጠኝ፤ ባሌ የጣልያን መድኃኒት በኮሶ ልክ ጠጥቶ ነፍሱ ልትወጣ ነው አልሁት።»

«ምን አለሽ?»

«‹በዋንጫ?› አለኝ። አዎ አልሁት። ጓደኞቹን ጠራ። ‹ድገሚላቸው› አለኝ፤ ደገምሁላቸው። ጠመንጃቸውን ተደግፈው ሳቁ። ስልቻዬን አንሥቶ ያሸከመኝ እሱ ራሱ ነው። ተልባ አጠጪው ብለውሃል።»

በሶው ደርሷል። ወንድሟ በልቷል። በጣልያን ሠራዊት ፊት ያለፈው በኔ ሆድ ነው ማለት ነው። አርበኛ ብዬ ራሴን የቆጠርሁት ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው፤ የተዋጋሁበትን ሥፍራ ግን ሰው ሲጠይቀኝ አልናገርም።

ሳምንቱ አልቆ የሚቀጥለው ገበያ ሲቃረብ ሚስቴ ዋንጫውን አጥባ ፊቴ አስቀመጠችው።

«ይኸ ምንድን ነው?»

«ባልሽ እንዴት ነው ማለታቸው አይቀርም» አለች።

«ዛሬም አልተሻለውም በያቸው።»

«ውሸት ነዋ። እውነት ስናገር እጄ ቢንቀጠቀጥም ድምፄ አይሰበርም። ስዋሽ ግን አንተም ታውቃለህ፤ ገና አፌን ስከፍት ፊቴ ሁሉን ይናገራል። ታመምልኝ።»

ሰው ለሚስቱ ብዙ ነገር ሆኖላት ያውቃል። እንደኔ በየሳምንቱ በቀጠሮ የታመመላት ግን ካለ ይምጣና እንጨባበጥ። ልኩን ግማሽ ዋንጫ አደረግሁት እንጂ ጠጣሁ። ባንዶቹ እንደ ተረት ነጋሪ ይጠብቋት ጀመር። ለምን ደግሞ ጠጣ ሲሏት የሆዱ ኮሶ አልወጣለት ብሎ ነው ትላለች፤ እሱም እውነት ነበር፤ አልወጣም። ሦስተኛውን ሳምንት ጠጣሁ። አራተኛውንም ጠጣሁ። ነፋስ ሲነሣ ምሰሶ መያዝ ጀመርሁ። ባለሱቁ ሁለተኛውን ጣሳ ሲሰጠኝ ከላይ እስከ ታች አየኝና «ሚስትህ ተሻላት፤ አንተ ግን ምን ነካህ?» አለኝ። የሚያውቀው ነገር አለ ብዬ ጠረጠርሁት።

በአምስተኛው ገበያ ዋዜማ ዋንጫዬን አንሥቼ «በስመ አብ» ስል ከእጄ ወሰደችብኝ።

«ይቅርብህ» አለች።

«ነገ ቢጠይቁሽስ?»

«እዋሻለሁ።»

ቀና ብዬ አየኋት። ዋንጫው በእጇ ውስጥ ቀጥ ብሎ ቆሟል፤ ውሃው ላይ አንዲት ሞገድ እንኳ የለችም። የዓይኗም ቆብ ጸጥ ብሏል። ይህን ስንት ቀን ሳላየው እንደቆየሁ እንጃ፤ በየጓሮው ስሮጥ የሰው ፊት የማይበት ጊዜ አልነበረኝም።

«ጠጥተሽ ነው?»

«በማንኪያ ጫፍ። ማታ ማታ። ባለሱቁ እንዳለው።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«አንተ ያልሞትህ ዕለት።»

ዱቄቱ ነው ያረጋጋት፣ ወይስ ያን ኬላ አራት ጊዜ በደኅና ማለፏ? ከነፃነት በኋላ አንድ የሐኪም ቤት ድሬሰር ጠይቄ ነበር። ማግኒዚየም የሚባል ነገር አለበት፤ ለሆድ ድርቀት የታወቀ ነው፤ ጎድሎበት ለሚሸመቅቀውና ለሚጨነቀው ሰውም ይረዳል የሚሉ አሉ፤ ሁሉንም ግን አይረዳም አለኝ። አንተስ ስንት ትጠጣ ነበር ብሎ ሲጠይቀኝ በዋንጫ አልሁት። በሕይወት መኖሬን ለማረጋገጥ ይመስለኛል፣ የእጄን ትርታ ያዘ።

በማግሥቱ ስልቻዋን አሰረች፤ ማሰሪያው ባንድ ጊዜ ገባላት። እኔ ደግሞ ታምሟል ስለምትል ደኅና ሆኜ ቤት ተዘጋሁ። ያን ቀን የኔ እጅ ነበር የሚንቀጠቀጠው። ከደጅ ኮቴ በተሰማ ቁጥር ተኝቼ አቃስታለሁ፤ ኮቴው ሲያልፍ እነሣለሁ። አንድ ጊዜ ለጎረቤት በግ ሁሉ አቃስቻለሁ።

ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል መጣች። ስልቻው ባዶ ነው።

«ጠየቁሽ?»

«ጠየቁኝ።»

«ምን አልሻቸው?»

ነገረችኝ። ሌት ከመኝታዬ እንዴት እንደተፈናጠርሁ፣ ጓሮ ሳልደርስ እንዴት እንዳመለጠኝ፣ ውሻው እንዴት ሸሽቶ ከጎረቤት እንዳደረ፣ እኔ እንዴት ኑዛዜ መናገር እንደጀመርሁ። ከዚህ ሁሉ አንዲቱም አልሆነችም። ግን እንዲያ አሳምራ ስትነግረኝ ሁለት ጊዜ ወደ ጓሮው በር ተመለከትሁ። ማጋነን የኔ ሙያ ነበር፤ ባንድ ወር ውስጥ ከእጄ ወሰደችው።

«ድምፅሽ አልተሰበረም?»

«ምን ይሰብረዋል?» አለች፤ እንጀራ አቀረበችልኝ። «ደግሞ ወንድሜ ሰላም በይልኝ ብሎሃል።»

ጉርሻዬን ይዤ ቆምሁ። ወንድሟ ወሬኛ ነው ብሎ ከሠርጌ ቀን ጀምሮ ይጠላኛል፤ አንድ ቀን እንኳ በስሜ ጠርቶኝ አያውቅም።

«እኔን? በእውነት እሱ ነው ያለው?»

ዓይን ዓይኔን እያየች «አዎ» አለች። «ከልቡ ነው ያለው።»

ይኸው ስንት ዓመት ሆነ፤ እሱ ብሎ ይሁን እሷ ፈጥራው እስከ ዛሬ አላወቅሁም።