ትንሿ ቀይ ማሽንና ሁለቱ ብርጭቆዎች

ዛሬ ጠዋት ዕቃ ሳጥብ ሁለቱ ትናንሽ ብርጭቆዎች እጄ ላይ ተጋጩና ቅጭል አሉ። ደግነቱ አልተሰበሩም። ወፍራሞች ናቸው፣ ከታች ጠበብ ከላይ ሰፋ ያሉ፣ በድሮ ቡና ቤት ብቻ የሚገኙ ዓይነት። የአንደኛው አፍ ላይ ጥፍር የማታክል ሽርፍ አለች። ወደ መስኮቱ ከፍ አድርጌ ሳያቸው ከእንጦጦ በኩል የሚመጣው ብርሃን ገባባቸውና ያ ጾም፣ ያቺ ቀይ ማሽን፣ ያ ሁሉ ግማሽ እየቀረ የተደፋ ቡና አንድ ላይ መጣብኝ።

አጎቴ «አሥራ ሰባት ዓመትሽ ነው፤ ምን ትዝታ ኖሮሽ ነው ያኔ፣ ያኔ የምትይው?» እያለ ይስቅብኛል። ይሳቅ። ያኔ አሥራ አራት ዓመቴ ነበር፣ በቃ፤ እሱም ያኔ ፀጉር ነበረው።

አያቴ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነበሩ። ጡረታ ከወጡ በኋላም ሰውነታቸው የሥራ ሰዓቱን አልረሳም። በጠዋት ቁስቋም ማርያምን ይሳለሙና ከዘራቸውን ይዘው ቁልቁለቱን ቀስ እያሉ ይወርዳሉ፤ አዲሱ ገበያ አጠገብ ወዳለች አንዲት ጠባብ ቡና ቤት፤ እስከ ማታም አይመለሱም። ማሽኗ የባንኮኒውን ግማሽ የያዘ፣ እንፋሎቱን ሲለቅ መንገድ ላይ ያለውን ሰው ሁሉ የሚያስደነግጥ ነበር። ከትምህርት ቤት ስመለስ በበሩ አልፋለሁ፤ የተቃጠለ ወተትና የእርጥብ ቡና ሽታ ይመጣል፣ የማንኪያና የብርጭቆ ድምፅ ይመጣል፣ ከውስጥ የሽማግሌዎች ሳቅ ይሰማል። ገብቼ ግን አላውቅም። ለእኛ ለቤት ሰዎች ያቺ ቡና ቤት የሳቸው ዓለም ነበረች።

እዚያ የሚጠብቋቸው አንድ ጓደኛ ነበራቸው፤ ከመንገዱ ዳር ልብስ የሚሰፉ ሽማግሌ። ስማቸውን ከአያቴ አፍ ሰምቼ አላውቅም። «ልብስ ሰፊው» ነበር የሚሏቸው፣ እሳቸውም አያቴን «ሾፌሩ» ይሏቸዋል።

ከዚያ መንገዱ ሊሰፋ ነው ተባለና ቡና ቤቷ ፈረሰች። የልብስ ሰፊው ቤትም በዚያው መስመር ስለነበረ ከከተማው ሌላ ጫፍ ኮንዶሚኒየም ደረሳቸውና ሄዱ። ቡና ቤቷ የተዘጋች ዕለት አያቴ ሁለት ብርጭቆ በጋዜጣ ጠቅልለው መጡ። ባለቤቷ ለመታሰቢያ ብላ ሰጥታቸው ነው። እናቴ አጥባ ቡፌ ውስጥ አስቀመጠቻቸው። ለምን ሁለት እንደሆኑ የጠየቀ ሰው አልነበረም።

ከዚያ ወዲያ አያቴ ዝም አሉ። አልታመሙም፤ ይበላሉ፣ ይጸልያሉ፣ ሲጠሯቸው ይመልሳሉ። ግን በረንዳው ላይ ተቀምጠው ታክሲ ሲወጣና ሲወርድ ማየት ሆነ ሥራቸው። ድሮ ከሬዲዮ ጋዜጠኛ ጋር የሚከራከሩ ሰው ሬዲዮ መክፈት ተዉ። አጎቴ አዲስ ወደተከፈተ ካፌ ወሰዳቸው፤ «ወንበሩ ከፍ ይላል» ብለው ተመለሱ። አንድ ቀን እናቴ ልብስ እያጠፈች «አባዬ እቤት እያሉ የሉም» አለችኝ። ይህን ስትል እጇ ቆሞ ነበር።

የቡና ማሽን ለምን ቤት አናመጣም ያልኩት ያኔ ነው።

ሁዳዴ ሊገባ ሲል አራታችን መርካቶ ወረድን። እኔ ሳምንቱን ሙሉ በእናቴ ስልክ ቪዲዮ ሳይ ከርሜ ሊቅ ሆኛለሁ። አጎቴ ገና ሱቁ ውስጥ ሲገባ አንድ የሚያብረቀርቅ ማሽን ወደደ፤ በየፍሬው የታሸገ ቡና የሚውጥ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ተጭነሽው የምትሄጂ። እናቴ የታሸገው ሲያልቅስ ብላ ጠየቀች። ሻጩ ከውጭ የሚመጣ ሰው ይዞልን እንደሚመጣ ነገራት። እናቴ እዚያው ሳቀችበት፤ ቡና በሞላበት አገር ቡና በሻንጣ እስኪመጣ ቁጭ ብላ ልትጠብቅ! አያቴ ደግሞ ጥግ ላይ አቧራ ወደለበሰ ትልቅ አሮጌ ማሽን ሄዱ። ከተዘጋ ካፌ የወጣ ነው። እጀታውን እንደ አውቶቡስ ማርሽ ጨብጠው ቆሙ። ሻጩ እሱን ቤት ውስጥ ብንሰካው የሰፈሩ መብራት ሁሉ እንደሚጠፋ ነገረንና ለቀቁት።

እኔ የመረጥኳት ትንሿን ቀይ ማሽን ነበር። ቡናው የሚጠቀጠቅበት እጀታ ያለው ማጣሪያ አላት፤ ጠምዘዝ ተደርጎ ይገባል። በጎኗ ወተት የሚያፈላ ቀጭን የእንፋሎት ቧንቧ አላት። ውሃውም ከጀርባዋ በጆግ ይሞላል፤ የቧንቧ ውሃ ባይመጣም ግድ የላትም። ይህን ሁሉ ለሻጩ ሳስረዳው እሱ ራሱ አዳመጠኝ። አጎቴ እኔን እያሳየ «እንግዲህ ካልሆነ በሷ ነው» አለ። አያቴ የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው።

«ይጮሃል?»

«ኧረ አባባ፣ ምንም አይሰማዎትም» አለ ሻጩ ደስ ብሎት። «ተኝተው ቢሆን እንኳ አይቀሰቅስዎትም።»

«እ» አሉና ፊታቸውን ወደ በሩ መለሱ። ያኔ የደከማቸው መስሎኝ ነበር።

የመጀመሪያው ቀን አሳፋሪ ነበር። እናቴ በሙቀጫ የወቀጠችውን ቡና ሞላሁበት፤ ውሃው በመሀሉ ሮጦ አለፈና የገብስ ሻይ የመሰለ ነገር ወረደ። ዱቄቱ ሻካራ ነው ማለት ነው። በማግስቱ ገበያ ካለችው ቡና ፈጪ ዘንድ ሄጄ እንደ በርበሬ አድቅቂልኝ አልኳት። አድቅቃ ሰጠችኝ፣ እኔም በሙሉ ኃይሌ ጠቀጠቅሁት። ማሽኗ አቃሰተች፣ ተንቀጠቀጠች፣ ጠብ የሚል ነገር ጠፋ። በዚያ ላይ እናቴ ካውያ ሰክታ ኖሮ የቤቱ መብራት ጥፍት አለ። በጨለማው ኩሽና ውስጥ እጀታውን እንደያዝኩ ቆሜ ሳለሁ ከበረንዳው የአያቴ ድምፅ ተሰማ።

«አሁን ጮኸች።»

ደስ ያላቸው መሰለኝ። ለዚያች ቃል ስል በየቀኑ ሞከርኩ።

ጾም ስለነበር አያቴ እህል ውሃ የሚቀምሱት ከቅዳሴ በኋላ፣ እኔ ከትምህርት ቤት ስመለስ ነው። ዩኒፎርሜን ሳላወልቅ ማሽኗን እሰካለሁ። ቆርቆሮዋ እየሞቀ ቅርር ቅርር ይላል፣ ቀጥሎ ፓምፑ ያጉረመርማል፣ ከዚያ ቡናው እንደ ማር ክር ቀጥኖ መውረድ ይጀምራል። ላዩ ላይ የምትንሳፈፈዋ ወርቃማ አረፋ ከስስነቷ የተነሳ እስትንፋሴን ይዤ ነበር የማያት። ያ ሽታ ኩሽናውን አልፎ፣ ኮሪደሩን አልፎ፣ በረንዳ ድረስ ይሄዳል። ከነዚያ ብርጭቆዎች አንዱን በሙቅ ውሃ አሙቄ፣ ስኳር ጨምሬ እወስድላቸዋለሁ።

«እጅሽ ይባረክ» ይላሉ። ይጠጣሉ። ግማሽ ላይ ሲደርሱ ያስቀምጡታል። ዓይናቸው ወደ መንገዱ ይሄዳል፣ ቡናው ይቀዘቅዛል።

በየቀኑ ግማሽ። አንድ ቀን እንኳ ትንሽ ዝቅ ወይ ከፍ ብሎ አያውቅም። ስኳር ቀነስኩ፣ ግማሽ። ቡናውን ቀየርኩ፣ ግማሽ። አባባ፣ ጎምዝዟል እንዴ ብዬ ስጠይቃቸው «ኧረ ጥሩ ነው ልጄ» ይላሉ፤ ደግሞ የምራቸውን ነው፣ ውሸት አያውቁም። እናቴ ሲቆላ አርሮ ይሆናል አለች። አጎቴ መጀመሪያም መጫወቻ ነው የገዛነው አለ። እሱን እንኳ የከፋው በወተቱ ነበር፤ ያቺ የእንፋሎት ቧንቧ እያለች እስከ ፋሲካ አንድ ማኪያቶ ሳይጠጣ ሊከርም ነው። ከፋሲካ በኋላም አባዬ ካልጠጡ ኪዮስክ ለሚከፍት ጓደኛው እንደሚሸጣት ነገረኝ። እኔ ስለ ማሽኗ አልነበረም የጨነቀኝ። ግማሹን በደፋሁ ቁጥር አያቴን መመለስ ያልቻልኩ ይመስለኝ ነበር።

ፋሲካ ደረሰ። ቤቱ በዶሮ ሽታ ታፍኖ፣ አጎቴ የመጀመሪያ ማኪያቶውን ይዞ ከንፈሩ ላይ አረፋ ተቀብቶ ሳለ በሩ ተንኳኳ። የከፈትኩት እኔ ነኝ። ጥቁር ኮት የለበሱ ቀጭን ሽማግሌ ዳገቱ ትንፋሽ አሳጥሯቸው በሩን ተደግፈው ቆመዋል። እንኳን አደረሰህ ሊሉ ከከተማው ሌላ ጫፍ ታክሲ እየቀያየሩ ነው የመጡት። በትከሻዬ ላይ አሻግረው ወደ ውስጥ አዩ።

«ሾፌሩ! መንገዱ ጠፋህ እንዴ?»

አያቴ ሲነሱ ከዘራቸውን ረሱት። «ልብስ ሰፊው! ኮቱ ነው የረዘመው ወይስ አንተ ነህ ያጠርከው?»

ተቃቀፉ፣ ትከሻ ለትከሻ እየተገጫጩ ብዙ ተሳሳሙ። በረንዳው ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡና እኚያ ዝም ብለው የከረሙ ሰው ማውራት ጀመሩ። ስለ ኮንዶሚኒየም ደረጃ፣ ስለ አዲሱ መንገድ፣ ድሮ ስለ ሞተ አንድ የአውቶቡስ ትኬት ቆራጭ። እኔ ኩሽና ውስጥ ሽር ጉድ እላለሁ፤ ለእንግዳው በሕይወቴ ምርጡን ማኪያቶ ልሠራ ነው። ወጥቼ ጠቆር ይበል ነጣ ብዬ ጠየቅኳቸው።

«ለኔ ሻይ ነው ልጄ» አሉ። «ቡና የሱ ነው።»

ቅር አለኝ፣ አልዋሽም። ማሽን በተገዛበት ቤት ሻይ! የሻይ ብርጭቆዎቹ ሁሉ በሌሎች የበዓል እንግዶች ተይዘው ስለነበር ከቡፌው ሁለተኛዋን፣ ሽርፏን ብርጭቆ አውጥቼ ቀዳሁላቸው። ሲያዩዋት በአውራ ጣታቸው ሽርፏን ዳሰሱ። «አንቺም እዚህ ነሽ?» አሏት።

አያቴ ቡናቸውን ጠጡ፤ ግማሽ ላይ አቆሙ። በእንግዳ ፊት! ልብስ ሰፊውም ሻያቸውን ጠጡ፤ እሳቸውም ግማሽ ላይ አቆሙ። ወሬው አልተቋረጠም። ልብስ ሰፊው ዓይናቸውን ከመንገዱ ሳያነሱ ብርጭቋቸውን በአንድ ጣት ገፋ አደረጉ። አያቴም ሳያዩ ተቀበሉ። የቀረችውን ቡና ሻዩ ላይ ገለበጡ፣ ዞር ዞር አደረጉት፣ ከዚያ ግማሹን መልሰው ወደ ራሳቸው ብርጭቆ ቀዱ። ስፕሪስ። በሁለቱም ብርጭቆ ውስጥ አንድ ዓይነት ቀይ ዳማ መልክ ከፀሐዩ ጋር በራ።

ልብስ ሰፊው የራሳቸውን ወደ ብርሃኑ ከፍ አድርገው ለኩ። «ጎደለብኝ። ግማሽ ማለት ግማሽ ነው እኮ አንተ ሰውዬ።»

«ለልብስ ሰፊ ይበቃል» አሉ አያቴ። ሳቃቸው መጣ፤ ያ ከቡና ቤቱ በር ላይ የማውቀው። ከዚያም አንዲት ጠብታ ሳያስቀሩ ጠጡት።

ትሪውን እንደያዝኩ ቀረሁ። እናቴ ከኋላዬ ቆማ አይታ ኖሯል፤ እጇን ትከሻዬ ላይ አደረገች። ልብስ ሰፊው ፊቴን አዩና ገረማቸው። «አልነገረሽም? የዚህ ሰውዬ ቡና ብቻውን አልቆ አያውቅም» አሉኝ።

አያቴ ግራ እንደመጋባት አሉ። ሊነግሩኝ ያልፈለጉት ነገር አልነበረም፤ ለካ እሳቸውም አላወቁትም። እጃቸው ብቻ ነበር በየቀኑ ግማሽ ላይ ቆሞ የሚጠብቀው።

ልብስ ሰፊው ከዚያ በኋላም በበዓል በበዓል መጡ። አሁን ጉልበታቸው ዳገቱን እምቢ ብሏል፤ በስልክ ነው የሚገናኙት፤ እኔ ድምፁን ከፍ አድርጌ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጥላቸዋለሁ፣ ሁለቱም ሰፈር እስኪሰማ ይጮሃሉ። አጎቴም ማሽኗን ስለመሸጥ ድጋሚ አላነሳም፤ ማኪያቶው ያዘው። አሁን ይህን ስጽፍ እሷ ኩሽና ውስጥ እየሞቀች ቅርር ቅርር ትላለች፤ ከበረንዳው ሬዲዮ ይሰማል፣ ከሬዲዮው ጋር የሚከራከር ሰውም ይሰማል።

ግን ልነግራችሁ የፈለግሁት ያቺን የክረምት ቀን ነው፤ የዚያኑ ዓመት ሐምሌ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፣ መንገዱ በጭጋግ ተሸፍኖ ታክሲም አይታይም። ለአያቴ ቡናቸውን ሰጠኋቸው። ከዚያ ሽርፏ ብርጭቆ ላይ ለራሴ ሻይ ቀዳሁና ልብስ ሰፊው የተቀመጡበት ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ስፕሪስ እኮ አልወድም ነበር፤ ሻይም አይደለም ቡናም አይደለም። አያቴ ግማሽ ላይ አቆሙ። እኔም ግማሽ ላይ አቆምኩ። ዓይኔን ከጭጋጉ ሳላነሳ ብርጭቆዬን በአንድ ጣት ገፋ አደረግኋት።

ብርጭቆዋ ከጣቴ ሥር ሄደች። ከዚያ ቡናው ሻዩ ላይ ሲገለበጥ ሰማሁ። ብርጭቆዋ ሞቃ ወደ እጄ ተመለሰች። ወደ ብርሃኑ ከፍ አደረግኋት።

«አባባ፣ የኔ ጎደለ እኮ።»

ዞር ብለው አዩኝ፤ ዓይኖቻቸው ጠበብ አሉ።

«ለልብስ ሰፊ ይበቃል» አሉኝ።